ፊቷ ወደ መንገድ

ሰፈርተኛው «ፋብሪካው» ብሎ የሚጠራው ባቲላሜራ የሠራው መኪና ገደል ገብቶ ቢወጣ ጭረት አይገኝበትም ይባላል። የሚለው እሱ ራሱ ነው። መዶሻው ላሜራ ላይ ሲያርፍ በሦስት ሰፈር ያሉ ሕፃናት ይባንናሉ። ቀለም ሲነፋ ዝንብ እንኳ አክብራው በሌላ በኩል ዞራ ታልፋለች። አንድ ጊዜ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጨማዶ የመጣለትን አውቶሞቢል አቅንቶ ቢያስረክብ፣ ባለቤቱ «ይቺ የእኔ አይደለችም፣ የእኔን አምጣ» ብሎ አንገቱን ሊያንቀው ነበር። ይህን ታሪክ ባወራው ቁጥር መኪናዋ ይበልጥ ትጨማደዳለች፣ ባለቤቱም ይበልጥ ይቆጣል። ባለፈው ሲያወራው ፖሊስ ገብቶበታል።

«ፋብሪካ ማለት ምን ማለት ነው?» ይላል ጢሙ ላይ የተረጨውን ቀለም በክርኑ እየጠረገ። «እኔ በእጄ የምሠራውን በማሽን የሚሠራ ሰነፍ ማለት ነው!»

ጋራዡ የአባቱ ግቢ ነው። ከኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች ሽማግሌው አባቱና ታላቅ እህቱ ይኖራሉ። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ከመዶሻው ጋር ሲፎካከር ይውላል። ከግቢው በር ውጪ፣ ፊቷን ወደ መንገድ ሰጥታ፣ የአባታቸው ሰማያዊ አውቶሞቢል ትቆማለች።

አባታቸው ዕድሜ ልካቸውን ሾፌር ነበሩ። ልጆቻቸውን ያሳደጉት፣ ሚስታቸውን ምጥ ሲይዛት ሐኪም ቤት ያደረሱት፣ በኋላም አስከሬኗን የሸኙት በዚያች መኪና ነው። «ልጅቱ» ነው የሚሏት። አሁን ግን አእምሯቸው እንደ አሮጌ ራዲያተር ማንጠባጠብ ከጀመረ ሰንብቷል። የጠዋቱን ከሰዓት አያገኙትም። ወንድ ልጃቸውን «ወንድሜ» ይሉታል፣ ሴት ልጃቸውን «አንቺ እናቴ፣ መቼ መጣሽ?» እያሉ ይስሟታል። የሰፈሩ በሮች ሁሉ አንድ ሆነውባቸዋል።

ከሰዓት በኋላ ወጥተው እስከ መንገዱ መጨረሻ ካልተመላለሱ ግን አይሆንላቸውም። እህቲቱ አንድ ቀን በሩን ቆልፋባቸው መዳፋቸው እስኪላጥ ደበደቡት፤ ከዚያ ወዲህ ተወቻቸው። ደግሞም ይመለሳሉ። በየበሩ የቆሙትን መኪኖች አንድ በአንድ እያዩ ይመጡና፣ ሁለት ክብ ዓይን ያላት ሰማያዊዋ ጋ ሲደርሱ የግራ መብራቷን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጋሉ።

«አለሽ?» ይሏታል። ከዚያ ይገባሉ። ከዓለም ሁሉ የቀረቻቸው ምልክት እሷ ነበረች።

ታዲያ አንድ ቀን የኪራይ መኪኖች ያሉት ሰውዬ ወደ ጋራዡ ብቅ አለ። መኪኖቹ ሁሉ እንደ ልጅቱ ያሉ፣ የድሮው ሞዴል ናቸው። ኩባንያው በኋላ ያወጣቸው ግን ቀጠን ያለ የተቆጣ ዓይንና ሰፊ የፊት ፍርግርግ አላቸው፤ ተከራዩም እነሱን እየመረጠ አስቸግሮታል።

«ፊታቸውን መቀየር ትችላለህ?» አለው።

«ፊት? ጌታዬ፣ እኔ ከፈለግህ አንተንም የሃያ ዓመት ጎረምሳ አድርጌ እመልስሃለሁ!»

«ወሬህን ሰምቻለሁ። ሥራህን ነው ያላየሁት። አንዷን ሠርተህ አሳየኝ፣ ከዚያ ሁሉንም አመጣልሃለሁ።»

ፋብሪካው ዘወር ብሎ ልጅቱን አያት።

እህቱ የልብስ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ሰማችው። ስትናገር መርፌዋን አወጣች። «እሷን እንዳትነካ። አባባ ቤታቸውን የሚያውቁት በእሷ ነው።»

«እትዬ፣ መኪናዋ እኮ ያችው ናት! አንቺ ጠዋት ፊትሽን ስትታጠቢ ሌላ ሰው ትሆኛለሽ?»

«እኔ ፊቴን ስታጠብ አፍንጫዬን አልቀይርም።»

«ብትቀይሪው እኮ አይከፋም ነበር።»

ሳቀች፤ ሳቋ ጎዳት፤ እሱ እንደ እሺታ ወሰደው። አባታቸው በዚያው ሰሞን እግራቸው አብጦ አልጋ ያዙ፣ መውጣትም ቀረ። ፋብሪካው ይህን እንደ ምሕረት ቆጠረው። «እሳቸው እስኪነሡ እጨርሳታለሁ። ሲያዩዋት ይኮሩባታል» አለ፤ ይህን ደግሞ ከልቡ አምኖታል። ውሸቱን መጀመሪያ የሚያምነው ሁልጊዜ እሱ ነው።

ከኋላዋ ተገጭታ ከሞተች አዲስ ሞዴል የፊቷን ዕቃ ሁሉ ገዛ፤ ኮፈኑን፣ ሁለቱን ፓራፋንጎ፣ ፓራውልቱን፣ ፍርግርጉን፣ መብራቶቹን። እንደተመኘው ግን ዘው ብሎ አልገባለትም። አዲሱ ኮፈን በጣት ስፋት ረዘመ። የመብራቶቹ ሶኬት ከድሮው ሽቦ ጋር አልተዋወቅም አለ። ራዲያተሩን የሚይዘውን የፊት ብረት ቆርጦ እንደገና በየደ። ለአዲሱ ፓራውልት መያዣ ቢያጣ የድሮውን ብረት ከትፎ መያዣ አደረገው። የድሮዋ ክላክስ፣ ያቺ ጎርናናዋ፣ ከአዲሱ ፓራውልት ኋላ ቦታ አጣች፤ ነቅሎ ጣላትና ጉንፋን እንደያዛት ጫጩት የምትጮህ ትንሽ ገጠመ። ስቱኮ ለቀለቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፣ እንደገና ለቀለቀ። ቀለሙ ላይ ነው ጉዱ። አዲስ ሰማያዊ አልቀባም፤ ያን ፀሐይ የበላውን፣ የገረጣውን፣ ከበሮቿ ጋር አንድ የሆነውን ሰማያዊ ቀምሞ አወጣው። «ፀሐይ ራሷ ብትመጣ የቱን በልቼ የቱን እንደተውኩ አላውቅም ትላለች» አለ። እዚህ ላይ እንኳ ብዙም አልዋሸም።

የኋላ መብራቶቹን ግን ገበያው ላይ አላገኘም። ስለዚህ ጀርባዋ እንደነበረ ቀረ፤ አባታቸው በአንድ ዝናባማ ቀን ከበርሜል ጋር ያላተሟት ጉድጓድ እንኳ በቦታዋ ነች።

ሽማግሌው ድነው ሊወጡ ሲሉ እህቲቱ ወንድሟን እጅጌውን ይዛ ወደ መኪናዋ ወሰደችው። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ጀርባዋን ወደ መንገድ አዙረህ አቁማት። ጀርባዋን ያውቁታል። እስኪለምዱ ብቻ።»

«የሙሽራ ፊት ወደ ግድግዳ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው የፈለገውን ይበል። ማልልኝ።»

«እሺ፣ እናታችንን! አዞርኳት፣ በቃ!»

አዞራትም። ያን ዕለት ሁለቱም በበሩ ስንጥቅ አጮልቀው ጠበቁ። አባታቸው እየተጎተቱ መጡ፤ ከመኪናዋ ኋላ ቆመው ተጠራጠሩ። እጃቸው እንደ ዓይነ ስውር ላሜራውን ዳበሰ፣ ጉድጓዷ ላይ ሲደርስ ቆመ። «አለሽ?» አሉ። ገቡ። እህቲቱ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ወደ ክፍሏ ሮጠች። ከዚያም ወዲህ በየቀኑ እንዲሁ እየዳበሱ ገቡ።

የኪራይ መኪኖቹ ሰውዬ የመጣው አባታቸው ለእግር ጉዟቸው እንደወጡ ነው። ፋብሪካው ቁልፉን ነጥቆ ልጅቱን አስነሣና ፊቷን ወደ መንገድ አዞራት። ሰፈሩ ወጣ። ከመንገዱ ማዶ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ሳይቀር ካላማዳሪያውን ጥሎ መጣ። ሰውዬው መጋጠሚያዎቹን በጥፍሩ እየተከተለ ፈተሸ፤ ጥፍሩ አንድ ቦታ እንኳ አልተያዘም።

«ይኼ... ይኼ ከፋብሪካ የወጣ ነው» አለ።

እህቲቱ ኋላ ክፍል ሆና ጭብጨባውን ሰማች። መኪናዋ የምትዞር አልመሰላትም። ምሎላታል።

«ሁሉንም ነገ ጀምሬ አመጣልሃለሁ። ና፣ ሻይ ልጋብዝህ» አለ ሰውዬው። ፋብሪካው ላዙራት ብሎ እጁን ወደ በሯ ዘርግቶ ነበር። አንድ አላፊ አግዳሚ ግን ቆም ብሎ አፉን ከፍቶ ያያታል። እሱ ይጥገብ፣ አለ በልቡ። ቁልፉን ኪሱ ከተተና ሄደ። ሻይ ቤት ውስጥ በወሬው ያቺ የተጨማደደች መኪና እንደ ወረቀት ተጠቅልላ በጆንያ መጣች፤ ባለቤቷም አገር ምድሩን ጠርቶ ከሰሰው።

ሲመለስ ጎሚስታው ከሩቅ እየሳቀ ተቀበለው።

«አንተ ሰውዬ ጉድ ነህ! አባትህን እንኳ ሸወድካቸው እኮ!»

«እንዴት?»

«መጡና ፊት ለፊቷ ቆሙ። መብራቷን ሊያንኳኩ እጃቸውን ሰደዱ፣ መልሰው ሰበሰቡት። ‹ይቅርታ› አሏት። ለመኪናዋ! ‹አባባ፣ ቤትዎ እኮ ነው› ብላቸው፣ ‹የለም ልጄ፣ የእኔ ቤት ልጅቱ ያለችበት ነው፣ ይቺ የሰው ናት› ብለውኝ አለፉ። እየቀለዱ መስሎኝ በሳቅ ሞትኩ!»

ፋብሪካውም ሳቀ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቶ አያውቅም። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጥርሱ ሁሉ ታይቶ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ አፉ ውስጥ እንዳለ ቆመ።

«በየት በኩል አለፉ?»

እህቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የመኪናዋን ፊት አየች፣ ወንድሟን አየች። አልጮኸችም። ነጠላ ጫማዋ አንዱ ከእግሯ ወልቆ፣ በአንድ እግሯ ጫማ በአንዱ ባዶ፣ ወደ ታች ሮጠች።

እሱ በመኪናዋ ወጣ። ጠባቡን መንገድ ሁሉ በቀስታ እየነዳ ክላክስ አደረገ፤ አባቱ ድሮ ከሥራ ሲመለሱ በር ለማስከፈት እንደሚያደርጉት፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ያቺን ጥሪ ቢሰሙ አባባ ከመቃብርም ይነሣሉ፣ ብሎ አሰበ። መኪናዋ ግን እንደ ጫጩት ጮኸች። ጎርናናዋን የት እንደጣላት ትዝ ሲለው መሪውን በመዳፉ መታው።

ዝናብ ጀመረ። ወደ አንድ ጭር ያለ መንገድ ታጠፈ። የተቆለፈ በር፣ ከበሩ ፊት አንዲት ነጭ መኪና፤ የልጅቱ ታላቅ እህት የምትመስል፣ የድሮው ሞዴል፣ ክብ ዓይን። እዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ እንኳ የሥራ ዓይኑ አላስቻለውም። «ይቺንም ፊቷን ብቀይርላቸው» አለ በልቡ። ክላክስ እያደረገ አለፋት። የሚፈልገው የሚሄድ ሽማግሌ ነበር፤ ወደ መሬት አላየም።

ሌሊቱን በየሆስፒታሉና በየፖሊስ ጣቢያው ሲንከራተቱ አነጉት። ጠዋት ሰው መጥቶ ጠራቸው።

አባታቸው ከተቆለፈው በር ፊት፣ ከነጯ መኪና የፊት ፓራውልት ሥር መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ልብሳቸው ውኃ ጠጥቶ ከብዷል። ራሳቸው ወደ መኪናዋ ዘንበል ብሏል፤ ቀኝ እጃቸው የግራ መብራቷ ላይ፣ ጣቶቹ እንደታጠፉ ደርቀዋል።

ማዶ ያለችው ባለ ሱቅ መዳፏን ጉንጯ ላይ አድርጋ ታለቅስ ነበር። «ጠይቄያቸው ነበር እኮ፣ እናቴን! ‹ቤቴ ነው፣ ልጆቼ በሩን እስኪከፍቱልኝ ነው› አሉኝ። መኪናዋን እንዲህ እንደ ሰው ያዋሩ ነበር። የቤቱን ሰዎች እኔ መች አውቃቸዋለሁ፣ ሁልጊዜ ዝግ ነው። አመንኳቸው። ዝናቡ ሲበረታ ‹ሱቅ ይግቡ› ብላቸው ‹ብገባ ማን መጣ ይለኛል፣ ልጆቼ ሲያጡኝ ይደነግጣሉ› አሉ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «አመሻሽ ላይ አንዲት ሰማያዊ መኪና ክላክስ እያደረገች አልፋ ነበር። ‹አባባ፣ ልጆችዎ ይሆኑ እንዴ?› አልኳቸው። ቀና ብለው አዩዋት። ‹የለም፣ ይቺን አላውቃትም› አሉ። እግራቸውን ሰበሰቡላት፣ እንዳትረጫቸው።»

እህቲቱ አባቷ ፊት ተንበርክካ የደረቁትን ጣቶች አንድ በአንድ ከመብራቱ ላይ ታላቅቅ ነበር። ወንድሟን ቀና ብላ አላየችውም። እሱ ኮቱን አውልቆ የአባቱን እርጥብ ትከሻ ሸፈነ።

ከቀብሩ በኋላ ሰውዬው የመጀመሪያዋን መኪና ይዞ መጣ። «ነፍስ ይማር» ብሎ ትንሽ ተቀመጠ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሐዘን ሲወጣ እንጀምራለን ብዬ ነው፣ አለ። ፋብሪካው «ሌላ ሰው ፈልግ» አለው። ሰውዬው ፋብሪካው እንዲህ በአጭሩ ሲናገር ሰምቶት ስለማያውቅ የታመመ መሰለውና ጤና ተመኝቶለት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሽማግሌው ይመለሱ በነበረበት ሰዓት፣ ፋብሪካው ወጣና መኪናዋን አስነሣ። ፊቷን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባዋን ወደ መንገድ አደረገ። ቀጥ አላለችለትም፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ እንደገና ወደ ፊት አደረጋት፣ ያቺ ጉድጓድ ከመንገዱ በደንብ እስክትታይ ድረስ። ከዚያ ወርዶ በጨርቅ ወለወላት።

እህቱ በጥቁር ልብሷ በሩ ላይ ቆማ ስታየው ቆየች።

«አሁን ለማን ነው?» አለችው።

በጨርቁ ጫፍ ያቺን ጉድጓድ ደግሞ ጠረገ። እህቱ ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችለት። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ሲጀምር ሰማ። እሱ ግን የመንገዱን መጨረሻ እያየ እዚያው ቀረ።