ሰፈር በለቅሶ ሲመረጥ

ሌላው ሰው ቤት ሲፈልግ ውሃ አለ ወይ፣ መብራት ገብቷል ወይ፣ ትምህርት ቤት ይቀርባል ወይ ብሎ ይጠይቃል። የእኔ ባል ሀብተጊዮርጊስ የሚጠይቀው «በቅርቡ የሞተ ሰው አለ?» ብሎ ነው። አለ ካሉት ነጠላውን ደርቦ ይሄዳል። የማያውቀው ሰው ድንኳን ውስጥ ይቀመጥና ንፍሮ እየዘገነ አግዳሚ ወንበር ይቆጥራል። ማታ ደግሞ ለእኔ ሪፖርት ያቀርባል።

ጊዜው 1999 ዓ.ም. ነው፤ አገር ምድሩ ስለ ሚሊኒየሙ የሚያወራበት። እኛ ጅማ ከተማ፣ ሄርማታ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አከራያችን ልጃቸውን ሊድሩ ስለሆነ እስከ ግንቦት መጨረሻ ልቀቁልኝ አሉን። በጨዋ ደንብ ነው ያሉን፤ አልተቀየምናቸውም። ልጃችን ናርዲ አራት ዓመቷ ነው፤ ሁለተኛው ሆዴ ውስጥ ሰባት ወሩን ይዟል። ከእንግዲህ ኪራይ በቃን፣ ከከተማው ወጣ ብለን ግቢ ያለው ቤት ገዝተን ልጆቻችንን እናሳድግ ብለን ተስማማን። የተስማማነው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው።

ሀብቴ ቡና መጋዘን ውስጥ ናሙና መርማሪ ነው። ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግኖ ጠረጴዛ ላይ ይበትናል፣ ጥቁሩንና ነቀዝ የበላውን ለይቶ ይቆጥራል፣ ከዚያ ለመኪናው ሙሉ ጭነት ደረጃ ይሰጣል። ይኼ ሙያው ቤታችን ድረስ ገባ። የሰፈር ናሙናው ለቅሶ ነው ይላል። ሰርግ ሁሉም ሰው ያሳምራል፤ ሰው የሚታወቀው ድንኳን ውስጥ ነው ባይ ነው።

ሳትስቁበት አንድ ነገር ልንገራችሁ። አባቱ ከሰላሌ ተዛውሮ ጅማ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ዕድር ሳይገባ፣ ጎረቤት ሳይለምድ፣ በመጣ በስድስት ወሩ ሞተ። የቀበሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ባለጋሪው ነው። ሀብቴ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፤ እናቱ እንደነገሩኝ አላለቀሰም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል። ከእሱ ጋር ከመጣላት ግን አግዶኝ አያውቅም።

መጀመሪያ አወቱ መንደራ ሄደ። ድንኳኑ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ስለተተከለ ሦስተኛ ደረጃ ሰጠው። ቀጥሎ በቾ ቦሬ ሄደና ካርታ የሚጫወቱት ከሚያለቅሱት በልጠዋል ብሎ ተመለሰ። እኔ ስለ ውሃው ስጠይቀው አላየሁም አለ። ስለ ትምህርት ቤቱ ስጠይቀው ቀብሩ ላይ አንድ አስተማሪ ነበር አለኝ።

አንድ እሑድ ደግሞ ማልዶ አሰንዳቦ ሄደ። አሰንዳቦ ሰው ውሎ የሚገባበት እንጂ ጅማ እየሠራ በየቀኑ የሚመላለስበት አገር አይደለም። ለማየት ያህል ነው ብሎኝ ወጣ። እሱ መኪና በተሳፈረ በአንድ ሰዓት ውስጥ ግድግዳችንን የሚጋሩት ጎረቤታችን የእትዬ ኩልሱም እናት አረፉ። በእነሱ ደንብ ሬሳ አይውልም፤ ቀትር ሳይሞላ ተቀበሩ። እኔ ከነሆዴ ሄጄ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ።

ባሌ ሲመሽ አቧራ ለብሶ መጣ። የአሰንዳቦን ሕዝብ አመሰገነ፣ የአሰንዳቦን ድንኳን አመሰገነ። ከአጥራችን ሥር የተወጠረውን ሸራ ግን አልፎት ነው የገባው። የማን ለቅሶ እንደሆነ ስነግረው ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠ።

ነገ እሄዳለሁ አለ። በማግስቱ መጋዘኑ ውስጥ ጭነት ተከመረ። በሦስተኛው ቀን አፈረ። ሳምንት ሲሞላው ጭራሽ በእትዬ ኩልሱም በር ላለማለፍ በወንዙ በኩል ዞሮ፣ ጫማውን ጭቃ አስበልቶ፣ በጓሮ መግባት ጀመረ። የአገሩን ለቅሶ ሁሉ ሲደርስ የከረመ ሰው ከገዛ ጎረቤቱ ተደበቀ።

በዚህ መሀል ከከተማው ወጣ ብሎ ጅሬን ላይ ሰው ሞተ። ሀብቴ ዳገቱን ወጥቶ ሄደና ማታ ዓይኑ በርቶ ተመለሰ። «ፋንቱ፣ ኤክስፖርት ነው» አለኝ፤ ለውጭ አገር የሚላከውን ምርጥ ቡና የሚጠሩበት ነው። ሁለት ድንኳን፣ መቶ አርባ ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል። ወንበር ሲቆጥር የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ቱሉ አይተውት የሟች ምን ነህ ቢሉት፣ ነዋሪ ልሆን ነው ብሎ መለሰላቸው። ጋሽ ቱሉ ለቅሶ ቤት ሳቃቸው መጥቶባቸው ተነስተው ወጡ አለኝ።

ነገሩ ግን ቀና። ጋሽ ቱሉ ከግቢያቸው ጎን የሚሸጥ የወንድማቸው ቤት ነበራቸው። ሄጄ አየሁት፤ ቧንቧው ይወርዳል፣ ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፣ ለናርዲ መሮጫ አለው። ወደድኩት። በዋጋውም ተስማማን። ከመፈራረማችን በፊት ጋሽ ቱሉ፣ የናሙናውን ነገር ከሀብቴ ሰምተው ኖሮ፣ አንድ ነገር ብቻ አሉ። «የእኛን ናሙና አይታችኋል፤ እኛም የእናንተን እንይ። ቅዳሜ ሄርማታ መጥቼ ጎረቤት እጠይቃለሁ።»

በአንድ ግድግዳ የምንዋሰነው ጎረቤት ማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ።

ዓርብ ማታ ለመንኩት። አሁኑኑ ሂድ፣ ሦስት ሳምንት ቢያልፍም ለቅሶ ቀረ አይባልም አልኩት። አልሄድም አለ።

«አሁን ብሄድ ለቤቱ ብዬ ነው የሚሆነው» አለ። «በሰው ሐዘን ቤት አልለምንም።»

ተናደድኩ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ኮራሁበት። ግን በኩራት ቤት አይከደንም፤ ግንቦት ሊያልቅ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ እግሬ አብጧል። ሌሊቱን ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼው አደርኩ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጋሽ ቱሉ ኮታቸውን ለብሰው መጡና እትዬ ኩልሱም ቤት ገቡ። ግድግዳችን ጭቃ ነው፤ በወዲያኛው ወገን ሰው ቢያስነጥስ እኛ ይማርህ እንላለን። ሀብቴ እንደ ተከሳሽ ቆሞ ያዳምጣል።

እትዬ ኩልሱም ስለ እኔ ብዙ ተናገሩ። ሦስት ቀን ከነሆዷ ከጎኔ አልተነሳችም፣ እንዲህ ያለችውን ልጅ ለማንም አልሰጥም ነበር፣ በእናንተ ነው የቀናሁት አሉ። ጋሽ ቱሉ ቁርጡን ጠየቁ።

«ባልየውስ? ለእናትሽ ለቅሶ መጥቷል?»

የሀብቴ ጆሮ ቀላ። እኔ ሆዴን ይዤ ቁጭ አልኩ፤ የጅሬን ቧንቧ፣ የናርዲ መሮጫ፣ ሁሉም ከዓይኔ ሄደ።

«ማሎ፣ እባክዎ ጋሽ ቱሉ» አሉ እትዬ ኩልሱም በመጨረሻ። «በእናንተ መጽሐፍ ባልና ሚስት አንድ አካል ናቸው ነው አይደል የሚለው?»

«ኤዬ፣ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው መጥቷል።»

ጋሽ ቱሉ ረጅም ሳቅ ሳቁ። ሲጨርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አልመጣም ማለት ነው» አሉ። «ቢሆንም ሐዘንተኛዋ ራሷ ገመናውን የምትሸፍንለት ቤት፣ ክፉ ቤት አይደለም። ቤቱን ለፋንቱ ሰጥተናል፤ የዛሬ ሳምንት ትግባ። እሱም ይከተላት።»

እኔ ዘልዬ ልነሳ ስል ሆዴ መለሰኝ። ሀብቴ ግን አልተደሰተም። ጋሽ ቱሉ ተሰናብተው እስኪሄዱ ጠበቀ፣ ነጠላውን አንስቶ ደረበ፣ በጓሮው ሳይሆን በፊት ለፊቱ በር ወጣ። ተሰጥቶናል እኮ፣ የት ትሄዳለህ አልኩት።

ትንሽ ቆይቶ በግድግዳው በኩል ለቅሶ ሰማሁ። የወንድ ለቅሶ ነው። ሰባት ዓመት አብሬው ስኖር ሰምቼው ስለማላውቅ መጀመሪያ የእሱ አልመሰለኝም።

ስሄድ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ «አባቴ፣ አባቴ» ይላል። እትዬ ኩልሱም፣ እናታቸውን በቀበሩ በሦስተኛው ሳምንት፣ ጥቁር ሻሻቸውን እንዳሰሩ ጀርባውን ያሻሻሉ። «አይዞህ ልጄ፣ አላህ ሰብሩን፣ ጽናቱን ይስጥህ» ይሉታል። ሊያጽናና የሄደው እያለቀሰ ሐዘንተኛዋ ታባብለዋለች። ልስቅ ነበር።

እትዬ ኩልሱም ቀና ብለው አዩኝ። «ምን ያስቆምሻል፣ ግቢና አግዢኝ እንጂ» አሉ። «የሚመጣው ቅዳሜ ትሄዳላችሁ፤ ይኼን ሰው አስለቅሼ ሳልጨርስ ልሰዳችሁ ነው?»

ቅዳሜ እንሄዳለን። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የምንሄድበትን እንጂ የምንለቀውን አስቤው አላውቅም። ጅሬን ግቢ አለ፣ ውሃ አለ፣ ደግ ሰው አለ። በግድግዳው ወዲያ ግን እትዬ ኩልሱም የሉም። ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ከሁለቱ መሀል ተቀምጬ ለሄርማታ አለቀስኩ።