ቦራን የሚወስድ ሰው

በ2008 ዓ.ም. በተራራው ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ የነበረው መንደር ተነስቶ ሰዉ ደባርቅ ከተማ ዳር ሲሰፍር፣ ያርጋል በጎቹንና ላሞቹን ሸጦ ወረደ። ቦራን ግን የሚገዛው አላገኘም። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላውን ፈረስ ማን ይገዛል? እውነቱን ለመናገር እሱም አጥብቆ ገዢ አልፈለገም። ሚስቱን አረጋሽን ኮርቻው ላይ አስቀምጦ፣ ልጓሙን ይዞ በሳንቃ በር በኩል ቁልቁል ወረደ።

ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ፈረስ ነው። ያርጋል ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ገርቶ ያሳደገው፣ ለቅሶም ሰርግም የደረሰበት ፈረስ ነው። አረጋሽ የመጨረሻ ልጇን ልትወልድ ምጥ ሁለት ቀን ሲያንገላታት፣ ሰው እጁን ዘርግቶ ጣቱን በማያይበት ጉም ውስጥ ደባርቅ ጤና ጣቢያ ያደረሳት እሱ ነው። ያን ቀን ያርጋል መንገዱ ቢጠፋበት ልጓሙን ለቀቀለት፤ ቦራ በገደሉ አፋፍ ላይ እግሩን እየመረጠ አወጣቸው።

አዲሱ ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ውሃውም ቅርብ ነው፤ ለሰው ክፉ አልነበረም። ለፈረስ ግን ግጦሽ የለውም። ቦራ ከአጥሩ ጥግ ከአንድ ባሕር ዛፍ ግንድ ጋር ታስሮ ይውላል። ጭድ ሲሰጡት ጥርሱ ስላለቀ አኝኮ አኝኮ፣ እንደ ኳስ አድቦልቡሎ ይተፋዋል። አረጋሽ ጠዋትና ማታ ፉርሽካ በውሃ እያራሰች ታበላዋለች። እንዲያም ሆኖ የጎድን አጥንቱ መቆጠር ጀመረ። ክረምቱ ሲቃረብ ጭቃው፣ ዝንቡና ሽታው ጎረቤቱን አማረረ። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ግቢያቸው ከግቢው ጋር የተጣበቀ ነበር እንጂ።

«ሰው እንፈልግለት» አለች አረጋሽ አንድ ቀን። «እዚህ ቆሞ ከሚሞት ሜዳ ያለው ሰው ይውሰደው።»

ያርጋል መጀመሪያ የሄደው የሺዋስ ዘንድ ነው። የሺዋስ ለቱሪስት ፈረስና በቅሎ የሚያከራይ፣ ከብት የሚያውቅ ሰው ነው። የቦራን አፍ ከፍቶ አየ፤ ወገቡን በእጁ ተጫነው።

«ጋሼ ያርጋል፣ ልዋሽዎት አልችልም» አለ። «ፈረንጅ ይህን ፈረስ ሲያይ አይቀመጥበትም፤ አዝኖ ፎቶ ያነሳዋል እንጂ።»

«ዕቃ እንኳ አይጭንም?»

«ቁልቁለቱ ላይ ጉልበቱ ቢከዳውስ? ገደል ነው። በእኔ እጅ ቢሞት ዓይንዎን እንዴት አያለሁ?»

ዘመዶቹንም ጠየቀ። አንዱ በሬዬን የማበላው አጣሁ አለ፤ ሌላው ሳቀ። ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። ኋላ አንድ ለቅሶ ላይ ዳባት አጠገብ ያለ ደብር የሚያገለግሉ መምሬ ገብረ ሚካኤል የሚባሉ ቄስ ገር ፈረስ እንደሚፈልጉ ሰማ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መሄድ ከብዷቸዋል ተባለ።

ያርጋል በማግስቱ ማለዳ ቦራን እየሳበ ተነሣ። አልተቀመጠበትም። አስፋልቱ ሰኮናውን እንዳያሳምመው በዳር በዳሩ፣ በየሣሩ እያቆመ ቀኑን ሙሉ ተጓዘ። ዳባት ሲደርስ አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር።

የመምሬ ግቢ ሰፊ ነው፤ ከበስተኋላው እስከ ወንዝ የሚወርድ ለምለም ሣር አለው። መምሬ ቦራን ከራስ እስከ ጭራ አይተው ፈገግ አሉ።

«በሳምንት ሁለት ቀን ብቀመጥበት ነው። ሌላውን ቀን እንደኔው ይጡር።»

«ፉርሽካውን በውሃ ያርሱለት መምሬ፤ ጥርስ የለውም። ግራ ጆሮውን ሲነኩት አይወድም። ደግሞ...» ያርጋል የቦራን ጋማ ዳበሰ። «ደግሞ ቢያስቸግርዎ ለሌላ ሰው ሳይሰጡ እኔ ዘንድ ይላኩብኝ።»

«እኔ በሕይወት እያለሁ ከዚህ ግቢ አይወጣም» አሉ መምሬ።

ያርጋል ኮርቻውንም ልጓሙንም አስረከበ። ሲወጣ ቦራ ሣሩን ይግጥ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየው። ይህ ያርጋልን ደስም አሰኘው፣ ከፋውም።

ክረምቱ አለፈ። ከመስቀል በኋላ ያርጋል ለጓሮ የሚሆን ዘር ሊገዛ ዳባት ገበያ ወረደ፤ ቦራንም ደርሶ ሊጠይቀው አስቦ ነበር። ገና ከሚኒባሱ ሲወርድ ድንጋይ የጫነ ጋሪ በፊቱ አለፈ። የሚጎትተው ፈረስ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት።

ለቅጽበት ሌላ ፈረስ ነው ብሎ ራሱን ሊያታልል ሞከረ። ከዚያ ሮጦ ጋሪውን ያዘ። የቦራ ደረት ማሰሪያው ፈግፍጎት ቆስሏል፤ ዝንብ ወርሮታል። ያርጋል እጁን አፍንጫው ላይ አደረገ። ቦራ አሸተተው፣ ግን ጭንቅላቱን አላነሣም።

ባለጋሪው ታደለ የሚባል የሠላሳ ዓመት ሰው ነው። «ምን ሆኑ አባቴ?» አለ ደንግጦ።

«ይህን ፈረስ ከየት አመጣኸው?»

ታደለ ሳይደብቅ ነገረው። መምሬ ገብረ ሚካኤል በነሐሴ ድንገት ወድቀው ጎናቸው ተይዟል፤ አንደበታቸውም ተዘግቷል። ልጃቸው ጎንደር ወስዳ እያስታመመቻቸው ነው። ቤቱ ሲዘጋ የወንድማቸው ልጅ ከብቱን ሁሉ አከፋፈለ፤ ፈረሱንም ለሚፈልግ ሰጠ። ስለ ያርጋልና መምሬ ስለገቡት ቃል ለእሱ የነገረው ሰው አልነበረም።

«አርጅቷል እኮ፣ አታየውም?» አለ ያርጋል።

«አያለሁ አባቴ። እኔም የሞተብኝን ፈረስ የምተካበት አጥቼ ነው። ልጆቼ የሚበሉት ከዚህ ጋሪ ነው።»

«እንግዲያው መልስልኝ።»

ታደለ ዱላውን መሬት ላይ ጣለ። ሲናገር ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ይውሰዱት። አልከለክልዎትም። ግን ወስደው የት ሊያስሩት ነው?»

ለያርጋል የባሕር ዛፉ ግንድ፣ ጭቃው፣ ጎረቤቶቹ ታዩት። መንገደኛው ጋሪው መንገድ ዘጋ ብሎ ይጮህ ጀመር።

«ቁስሉን በጨው ውሃ እጠብለት» አለ በመጨረሻ። እጁን ከቦራ ላይ አነሣ፤ ጋሪው ሄደ። ዘሩን ሳይገዛ ተመለሰ።

አረጋሽ ሰምታ አላለቀሰችም። ማጀቷን ዞር ብላ አየች። «ይህን ባዶ አደርግለታለሁ» አለች። «ምድጃውን ወደ መኝታችን እናስገባዋለን። ጎረቤቱም ከፈለገ ይክሰሰን። ቅዳሜ ሄደን እናምጣው።»

ቅዳሜ ሁለቱም ወረዱ። የታደለን ጋሪ በቅሎ እየጎተተው አገኙት። ታደለ ሲያያቸው ከጋሪው ወረደ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

«ሐሙስ ዳገቱ ላይ ቆመብኝ። ብመታውም አልሄድ አለ። ፈትቼ ወንዙ ዳር ለቀቅኩት።»

ታደለ እየመራቸው ወንዙ ዳር ሲደርሱ ቦራ በጎኑ ተኝቶ ነበር። በሕይወት አለ። ጅብ እስካሁን አለመድረሱ ተአምር ነው አለ ታደለ። ሦስቱ ሆነው ሊያነሡት ሞከሩ፤ የፊት እግሮቹን ቢተክልም ወገቡ አልታዘዝ አለው፤ መልሶ ወደቀ። ዳግመኛ ሞከሩ። በሦስተኛው ያርጋል «ተዉት» አለ።

ታደለ ሥራ አለብኝ ብሎ፣ ይቅርታም ጠይቆ ሄደ። አረጋሽ በነጠላዋ ዝንቡን እየከለከለች ከራስጌው ተቀመጠች። ውሃ ልትቀዳ የወረደች ሴት እንስራዋን ይዛ ቆመች።

«የማን ፈረስ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ያርጋል አፉን ከፈተ። ሰጥቶታል እኮ። መምሬ ደግሞ አጥተውታል፣ ታደለም ለቅቆታል። የማን እንደሚል ጠፋው።

«የኛ ነው» አለች አረጋሽ ቀና ሳትል።

ቦራ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተ። ሁለቱም አርጅተዋልና ፈረስ የሚቀበርበት ጉድጓድ መቆፈር አይችሉም። ቅርንጫፍ ቆርጠው አለበሱት፤ ጅብን እንደማይከለክል እያወቁ።

ከሳምንት በኋላ ያርጋል ጎንደር ሄዶ መምሬን ጠየቃቸው። ልጃቸው የሺወርቅ ወንበር ሰጠችው። መምሬ አልጋ ላይ ናቸው፤ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። እንዳወቁት ግን ከዓይናቸው ያስታውቃል። ደኅና የሆነውን እጃቸውን አነሡ፤ ልጓም እንደያዘ ሰው ጨበጡት፤ ወዘወዙት።

የሺወርቅ ግራ ገባት። «ይህን ሁልጊዜ ያደርጋሉ። ምን እንደሚሉ አላውቅም።»

ያርጋል ያውቃል። ደኅና ነው ብሎ ሊዋሽ ፈለገ፤ ቄሱን ግን መዋሸት አቃተው።

«አረፈ መምሬ» አለ። «ደክሞት ነበር። የእርስዎ ጥፋት አይደለም።»

የመምሬ እጅ አልጋው ላይ ወደቀ። መምሬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ያርጋል «የእርስዎ ጥፋት አይደለም» አለ ደግሞ፤ ይስሙት አይስሙት አላወቀም። የመኪናው ሰዓት እስኪደርስ እጃቸውን ይዞ ተቀመጠ።