የፍሬኑ ደም

ልብስ ሰፊዋ ባሏን በሳመችው ቁጥር ታሸተው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ የኖሩት እንዲህ ነው። ማታ ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ትጠብቀዋለች፤ አንገቱን አቅፋ ግራና ቀኝ ጉንጩን ትስመዋለች፤ በዚያው ትንፋሹን ሳብ ታደርጋለች። ለጎረቤት ሲታይ የፍቅር ነገር ነው፤ እንዲያውም አንዳንድ ሚስቶች እነሱን እያሳዩ ባሎቻቸውን ይነዘንዙ ነበር። ነገሩ ግን ፍተሻ ነው። ባልየውም ያውቃል። አውቆም ቅር ሳይለው ጎንበስ ይልላታል፤ አፉንም ከፈት አድርጎ «እህ» ይላል፤ ኪሱን ራሱ ገልብጦ እንደሚያሳይ ጨዋ መንገደኛ።

ሰውየው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። የሥራ ጓደኞቹ «ፍሬኑ» ይሉታል፤ አውቶቡሱን ሲያቆም ቆሞ የሚሄድ ተሳፋሪ እንኳ ስለማይንገዳገድ። መጠጥ ላይ ሲሆን ግን ድሮ ፍሬን የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ሰው ደግፎት ነበር የሚገባው። አንድ ቀን ልጁን ከትምህርት ቤት እንዲያመጣ ተልኮ፣ እሱ መጠጥ ቤት ሲጫወት ልጅቱ የትምህርት ቤቱ ደጅ ላይ ስታለቅስ አመሸች። የዚያን ዕለት ሚስቱ አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም። ልብሱን በሻንጣ አድርጋ ደጅ አስቀመጠችና «ከእንግዲህ አንዲት ጠብታ በጉሮሮህ ብትወርድ ይህን በር አታልፍም» አለችው።

«ሚጡ ትሙት አልደግመውም» አለ። ሚጡ ልጃቸው ናት።

ከዚያ ወዲህ ጠጥቶ አያውቅም። ወይም ጠጥቶ ተገኝቶ አያውቅም። ለሌላ ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለልብስ ሰፊዋ ግን በመካከላቸው ሰፊ ሜዳ አለ፤ እሷም እዚያ ሜዳ ላይ ስትንጎራደድ ነው አራቱን ዓመት የጨረሰችው።

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ነገር ይከነክናት ጀመር። ሰውየው ውሃ አበዛ። መጠጣት ብቻ መች ሆነና፣ ጆጉን አንስቶ ያንደቀድቀዋል፤ ልክ ድሮ ሰክሮ ባደረ ማግስት እንደሚያደርገው። ሌሊት ሽንት ቤት ሲመላለስ ያድራል። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም እያለ ሁለቴ አጥብባለታለች። ምን ጠፋ ምን ተሰበረ ሳይባል ይነጫነጫል። ከሁሉም የባሰው ትንፋሹ ነው። የመጠጥ ነው እንዳትል አይደለም፤ የጤና ነው እንዳትል ደግሞ ደስ አይልም። መብሰሉን አልፎ ሊበላሽ የተቃረበ ፍራፍሬ የመሰለ ጣፋጭ ሽታ አለው።

«ዛሬ ምን በላህ?»

«የሰጠሽኝን ነዋ።»

«ከረሜላ በልተሃል?»

«ሕፃን ነኝ እንዴ ከረሜላ የምበላው?»

ሽታ ለመደበቅ ነዋ፣ አለች በሆዷ። በማግስቱ እሱ ሥራ ሲሄድ ቤቱን ገለበጠችው። አልጋ ሥር፣ የክረምት ጫማው ውስጥ፣ የውሃ በርሜሉ ኋላ፣ ከራሷ የጨርቅ ክምር መሐል ሳይቀር ፈለገች። ጠርሙስ የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ጠርሙስ ሲያጣ ደስ ይለው ነበር። እሷ ግን ከቤት ውጪ የሚያስቀምጥበት ቦታ አግኝቷል ማለት ነው ብላ ደመደመች።

አርብ ዕለት ከሰዓት በኋላ ፍሬኑ አውቶቡሱን ወደ ኋላ ሲያስኬድ የጋራዡን ምሰሶ ገጨ። ምሰሶው ጠመም፣ አውቶቡሱ ጎድጎድ ከማለት በቀር ማንም አልተጎዳም። የድርጅቱ ደንብ ግን ቀልድ አያውቅም፤ የገጨ ሹፌር ሁሉ ደሙ ይመረመራል። ክርኑ ላይ ጥጥ ተለጥፎበት ቤት ገባ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ምሰሶው ብዥ አለብኝ። ደም ወሰዱ፤ ደንብ ነው።»

«ብዥ አለብኝ?» አለች። አቅፋ ሳመችው። ያው ሽታ ነው። በዚያ ላይ ከክርኑ የሕክምና አልኮል ይሸታል። ሁለቱ ተቀላቅለው አፍንጫዋን ግራ አጋቡት። ቅዳሜና እሑድን ተኮራርፈው አሳለፉ፤ ማለትም እሷ አኮረፈች፣ እሱ ውሃ ጠጣ።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ያለሰዓቱ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ውጤቱ መጣ» አለ። «ደምህ ውስጥ አልኮል ተገኝቷል አሉኝ። እስኪጣራ እንዳትነዳ ተብያለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች። ለካ ሰው የፈራው ነገር ሲደርስበት ትንሽ እፎይታም ይሰማዋል። አራት ዓመት በከንቱ አላሸተተችም።

«ሚጡ ትሙት አንዲት...»

«የልጄን ስም አትጥራ!»

«ስሚኝማ። ብልቃጡ ተቀይሮ ቢሆንስ? የሌላ ሰው ደም ቢሆንስ? ኃላፊው እንደሆነ ድሮም ዓይኔን ማየት አይፈልግም፤ ማን ያውቃል...»

«ድሮም እንዲህ ነበርክ። አንድ ቀን ጓደኛህ ነው ያስገደደህ፣ አንድ ቀን ብርዱ ነው። አሁን ደግሞ ብልቃጡ ነው። አፍ ይዋሽ፤ ለምዶበታል። ደም ይዋሻል?»

ደም እንደሚዋሽ ፍሬኑም አያውቅም። እንዲያውም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ራሱንም ሳይጠራጠር አልቀረም፤ ሳላውቀው የሆነ ነገር ውስጥ አድርገው አጠጡኝ እንዴ እያለ። ሻንጣው ደጅ ወጣ። እሱም ያለ ክርክር አንስቶት መካኒክ ጓደኛው ቤት ሄደ። ሚጡ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «አባቢስ?» ብላ ጠየቀች። «መስክ ወጥቷል» አለቻት እናቷ። የከተማ አውቶቡስ መስክ እንደማይወጣ ልጅቱ ታውቃለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ።

ልብስ ሰፊዋ የተማሪዎች ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ አየች። ፍሬኑ ነው። አንድ እጁን በሩ ላይ አስደግፎ ይወዛወዛል። ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቷል፤ ከንፈሩ ደርቋል፤ ዓይኑ የት እንደሚያይ አያውቅም።

«ክፈ... ክፈቺልኝ» አለ፤ ምላሱ ተሳስሯል። «ውሃ...»

ይህን ሥዕል ታውቀዋለች። ከዚያው ከበሩ ሥር ስንት ጊዜ አንስታዋለች! በቀን በብርሃን፣ ጎረቤት እያየ፣ ያውም ምንም አልጠጣሁም ብሎ በማለ በሁለተኛው ቀን። ደሟ ፈላ። «አልከፍትም!» ብላ መጮህ አማራት፤ ግን መልስ ከሰጠችው ልቧ እንደሚራራ አወቀች። መጋረጃውን ለቀቀችና የመኪናዋን ፔዳል ረገጠች። እሱ ሲያንኳኳ እሷ ትሰፋለች። እሱ ሲያጠብቅ እሷ ታፈጥናለች። የአንድ ልጅ ኮሌታ ዙሪያውን ሰፍታ ጨርሳ፣ በላዩ ላይ ደግማ ሰፋችበት። ከዚያ ማንኳኳቱ ቆመ።

ሄደ፣ ብላ እግሯን ከፔዳሉ ላይ ባነሳችበት ቅጽበት የጎረቤቷ ጩኸት ግቢውን አናጋው። ሴትዮዋን ሰፈሩ «እትዬ ሬዲዮ» ይላታል፤ ሲጠሯትም «አቤት» ትላለች። ልብስ ሰፊዋ በሩን ስትከፍት ፍሬኑ ደረጃው ላይ ተዘርግቶ፣ እትዬ ሬዲዮ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ታገላብጠዋለች።

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ አለች። መጀመሪያ ያደረገችው ልቡን ማዳመጥ አልነበረም፤ አሸተተችው።

«ይኸው!» አለች። «ይኸው! ይሸትሻል?»

«ምን ሆነሻል አንቺ ሴት!» ብላ ጮኸችባት እትዬ ሬዲዮ። «ሰውየው ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነው! መኪና ጥሪ!»

ሆስፒታል ሲደርሱ ፍሬኑን ከእጃቸው ነጥቀው ወደ ውስጥ ወሰዱት። ሁለቱ ሴቶች መተላለፊያው ላይ ተቀመጡ። እትዬ ሬዲዮ ወሬ ጀምራ ታቋርጣለች። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ዶክተር ብቅ አለች።

«የታካሚው ባለቤት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ዶክተር፣ አይደብቁኝ። ምን ያህል ጠጥቶ ነው?»

«እኛም መጀመሪያ እሱን ጠርጥረን መርምረናል። ደማቸው ውስጥ አልኮል የሚባል የለም። ያለው ስኳር ነው፤ ያውም የእጅ መሣሪያችን ሊያነበው ከሚችለው በላይ። የስኳር ሕመም አለባቸው። ውሃ አያበዙም ነበር? አልከሱም? ትንፋሻቸው አልተለወጠብዎትም?»

ጆጉ፣ ሱሪው፣ ሽንት ቤቱ፣ የተበላሸው ፍራፍሬ፣ ሁሉም በልብስ ሰፊዋ ዓይን ላይ ሄደ። ሰው በሽታውን አንድ በአንድ ሲያሳያት፣ እሷ አንድ በአንድ ስትከሰው ነበር ለካ። ግን ጥርጣሬ የለመደ ልብ ቶሎ እጅ አይሰጥም።

«ዛሬ የለም እንበል» አለች። «ባለፈው አርብስ? ያኔ ደሙ ውስጥ አልኮል ተገኝቷል። በምርመራ ነው የተገኘው።»

ዶክተሯ ፊቷ ተለወጠ። ደሙን ማን እንደወሰደ፣ የት እንደወሰደ ጠየቀች፤ የስልክ ቁጥሩን ተቀብላ ወደ ድርጅቱ ክሊኒክ ደወለች። ደሙን የቀዳችውን ነርስ አግኝታ ብዙ ጠየቀቻት፤ «እሺ... አልደረቀም?... የትኛው ብልቃጥ?... እስከ ሰኞ?» እያለች። ልብስ ሰፊዋ ቆማ የዶክተሯን ግንባር ስታነብ ቆየች።

«ይስሙኝ» አለች ዶክተሯ ስልኩን ዘግታ። «ነርሷ ጠንቃቃ ሰው ናት። ክርናቸው የመኪና ግራሶ ስለነበረበት በአልኮል በራሰ ጥጥ ደጋግማ ጠርጋዋለች፤ ሳይደርቅም ወግታለች። ለሌላ ምርመራ ቢሆን ያን ያህል ክፋት የለውም፤ አልኮል ለሚፈለግበት ደም ግን አይደረግም። ሁለተኛ፣ ደም እንዳይበላሽ የሚያደርግ መድኃኒት ያለበት ብልቃጥ አልቆባት በተራ ብልቃጥ ቀድታዋለች። ሦስተኛ፣ ደሙን ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው መልእክተኛ አርብ ሳይመጣ ቀርቶ ብልቃጡ እስከ ሰኞ ከጥበቃ ክፍሉ መስኮት ሥር፣ ሙቀት ውስጥ ከርሟል።»

«ታዲያ ደም ቢከርም ከየት አምጥቶ አልኮል ይሆናል?»

«ደማቸው በስኳር የተሞላ ነው። ከቆዳም ይሁን ከአየር እርሾ መሰል ተሕዋስ ከገባበት፣ ስኳሩን እየበላ እዚያው ብልቃጡ ውስጥ አልኮል ሊሠራ ይችላል። ጥጡ ይሁን ሙቀቱ፣ ሁለቱም ይሁኑ፣ አሁን ማንም በእርግጠኝነት አይነግርዎትም። ያ ውጤት ግን ሰው የሚከሰስበት ውጤት አይደለም። ለድርጅቱም ይህንኑ እነግራለሁ።»

እትዬ ሬዲዮ «ጉድ!» አለች። ልብስ ሰፊዋ ግን ያን ሳትከፍተው የቀረችውን በር አሰበች። ውሃ ነበር የለመናት። ውሃ!

በማግስቱ ፍሬኑ ዓይኑን ገለጠ። ክንዱ ላይ ቱቦ ተሰክቶበታል፤ ጉንጩ ጎድጉዷል፤ ግን ፍሬኑ ራሱ ነው።

«ሚጡስ?»

«ትምህርት ቤት ናት። እትዬ ሬዲዮ ታመጣታለች።» ወንበሩን አስጠጋች። ስለ ስኳሩ፣ ስለ ጥጡ፣ ስለ ብልቃጡ፣ ሁሉንም ነገረችው። «ሰማህ? ስህተት ነው። አልጠጣህም።»

«እኔማ አውቅ ነበር» አለና ፈገግ አለ።

እሷም ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ መተላለፊያው ላይ የሚባለውን ስታዘጋጅ ነበር ያደረችው። ይቅር በለኝ፤ አየሁህ፤ በመስኮት አየሁህና አልከፈትኩልህም። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

«ትናንት ቤት መጥቼ ነበር» አለ እሱ ቀድሟት። «ብዙ ያንኳኳሁ ይመስለኛል።»

«ገበያ ሄጄ ነበር» አለች። «ክር አልቆብኝ።»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ለመመለስ ጊዜ ነበራት፤ አልመለሰችውም።

«የስፌት መኪናሽን ድምፅ የሰማሁ መስሎኝ ነበር» አለ ፍሬኑ።

«በሽታው ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ዶክተሯ ነግራኛለች፤ ስኳር እንዲህ ሲያሻቅብ ሰው የሌለ ነገር ይሰማዋል።» ዶክተሯ እንዲህ ያለ ነገር አልነገረቻትም።

ፊቱን እያየች ጠበቀች። የት ገበያ፣ ከማን ጋር፣ ክሩስ የታለ፣ ማን አየሽ ይላል ብላ ጠበቀች። እሷ ብትሆን ሁሉንም ትጠይቅ ነበር፤ መልሱንም አታምንም ነበር።

ፍሬኑ ቱቦ ያልተሰካበትን እጁን ዘርግቶ እጇን ያዘ።

«እንኳንም አልነበርሽ» አላት። «እንደዚያ ሆኜ ብታዪኝ ምን ያህል ትደነግጪ ነበር።»

እጇን እንደያዘም እንቅልፍ ወሰደው።