የድንቡሼ ስኳር

ድንቡሼ ስሙን ያገኘው በደህናው ጊዜ ነው። ያኔ ሆዱ ወለሉን ሊጠርግ ምንም ያልቀረው፣ ተጠቅልሎ ሲተኛ ከትራስ የማይለይ ብርቱካንማ ድመት ነበር። የሚኖረው ከአንዲት ልብስ ሰፊና ከአባቷ ጋር ነው። ልጅቷ እጇ የተመሰከረላት የሙሽራ ቀሚስ ሰፊ ናት፤ ሱቋ ከታች፣ መኖሪያቸው ከላይ ነው። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መሪ ከለቀቁ ቢቆዩም ሰፈርተኛው ዛሬም "ሹፌሩ" ነው የሚላቸው። ስኳር አለባቸው። መርፌያቸውን ይወጋሉ፣ ግን ሲያስታውሱ ነው፤ ልኬት የሚባለውንማ ጭራሽ አይወዱትም።

የድመቱ ነገር የጀመረው በውሃ ነው። የራሱን ሳህን ጨርሶ የአበባ ማስቀመጫውን ይጠጣል፤ እሱንም ሲጨርስ ወደ ሱቁ ወርዶ ልብስ ሰፊዋ ለካውያ ያስቀመጠችውን ውሃ ይልሳል። የሚጸዳዳበት አሸዋ ደርቆ አያውቅም። ይበላል፣ ያውም እንደ ሁለት ድመት፤ ግን የበላው የት እንደሚገባ እንጃ፣ ከቀን ወደ ቀን ሟሸሸ። አንድ ጠዋት ወደ ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ሊዘል ሞከረና ጠርዙን በፊት እግሮቹ እንደያዘ ተንሸራቶ ወደቀ። ተነስቶ ሲሄድ ደግሞ የኋላ እግሮቹ እስከ ተረከዛቸው መሬት ላይ ተኝተው ነበር፤ የማይሆን ጫማ ያደረገ ሰው ይመስላል።

"አባባ፣ ይዩት እስቲ! አረማመዱን ይዩት!" አለች ልጅቷ።

ሹፌሩ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ድመቱን አዩት፣ ባዶውን የውሃ ሳህን አዩ፣ እንደገና ድመቱን አዩት።

"ውሃ ውሃ ይላል፣ ይሸናል፣ ይበላል፣ ይከሳል" አሉ። "ልጄ፣ ይሄ ድመት እኔን ነው የወጣው።"

"አይቀልዱ አባባ። በዚህ ይቀለዳል?"

"ኧረ ቀልዴን አይደለም። ተነሺ እንውሰደው።"

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ስታወራ ሰውን ሳይሆን ድመቱን ነው የምታየው። ደሙንም ሽንቱንም መርምራ ስትመለስ የድንቡሼን አገጭ እያከከች "ስኳር ነው" አለች። "ድመትም እንደ ሰው ይይዘዋል። በተለይ እንደሱ ሞላ ሞላ ብሎ የነበረውን።"

የልጅቷ እንባ ዱብ ዱብ አለ። "ይሞታል?"

"የምን ሞት! ኢንሱሊን እንጀምርለታለን። ጠዋትና ማታ በመርፌ፣ መብላቱን እያያችሁ። ደረቁን ምግብ እንተውና ሥጋ የበዛበትን እርጥቡን እንሰጠዋለን። ደህና ከተያዘ ደግሞ ከነጭራሹ መርፌ የሚተው ድመት አለ። ቃል አልገባም፤ ግን አለ።"

ሹፌሩ "እኔም ኢንሱሊን አለኝ፤ ከኔ አናካፍለውም?" ቢሉ ሐኪሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ከድመቱ ላይ ዓይኗን አንስታ አየቻቸው።

"እንዳይሞክሩት አባባ! የሱ መድኃኒት ለብቻው፣ መርፌውም ለብቻው። በሰው ልክ ብትወጉት ትገድሉታላችሁ።"

"እሺ፣ እሺ" አሉ። ፊታቸው ግን በርቶ ነበር። ለስንት ዘመን በዚያ ቤት ውስጥ "አይብሉ፣ አይጠጡ፣ ይለኩ" የሚባሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጎንበስ አሉና በድንቡሼ ጆሮ "እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ" አሉት። ልጅቷ በለቅሶዋ መሃል ሳቋ አመለጣት።

ጣጣው የመጣው መርፌው ላይ ነው። ልጅቷ መርፌ በከንፈሯ ይዛ የምትውል ሰው ናት፤ ጣቷን ብትወጋው እንኳ መጠጥ አድርጋው ነው ስፌቷን የምትቀጥለው። የሐኪም መርፌ ስታይ ግን ዓይኗን ጨፍና ትዞራለች። አባቷ ሲወጉ እንኳ አንድ ሥራ ፈልጋ ከክፍሉ ትወጣለች። ሹፌሩ ደግሞ ወኔው ሞልቷቸዋል፤ ችግሩ ዓይናቸው በዚያች ቀጭን ሲሪንጅ ላይ ያሉትን መስመሮች አይለይም፣ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። የራሳቸው መርፌ እስክሪብቶ መሳይ ነው፤ ቀጭ ቀጭ እያለ ይቆጥርላቸዋል።

"እንግዲህ አንቺ እጅ ነሽ፣ እኔ አፍ ነኝ" አሉ። "እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ሥሪው።"

"አልችልም አባባ።"

"ቆዳውን በሁለት ጣትሽ ሳብ አድርጊው። እዚህ፣ ትከሻው መሃል፤ ልቅ ነው። አሁን ምን ይመስላል?"

ልጅቷ ጨምቃ ከዘጋቻቸው ዓይኖቿ አንዱን ከፈተች። "እጥፋት።"

"እጥፋት ላይ መርፌ አስገብተሽ አታውቂም?"

"እሱ የጨርቅ ነዋ!"

"ይሄም ሱፍ ነው። ያውም ጥሩ ሱፍ።"

ድንቡሼ ወሬው የማይመለከተው ይመስል ሳህኑ ላይ ተደፍቶ ይበላል። ልጅቷ ትንፋሿን ያዘች። መርፌውን አስገባች፣ ገፋች፣ አወጣች። ድመቱ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም።

"አለቀ?"

"አለቀ።"

ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ሳቅ ያዛት፤ ሳቁ አልቆም ብሎ አባቷ ውሃ አመጡላት።

እየዋለ እያደረ ሁሉንም ለመደችው። ከጆሮው ጠርዝ ጠብታ ደም ወስዳ መለካትንም፣ ሲያኮርፍ ማባበሉንም። ስኳሩ ግን አልወርድ አለ። ሐኪሟ መድኃኒቱን ትንሽ ከፍ ብታደርግም ያው ነው። ሦስቱም፣ ከድመቱ ጋር አራት ሆነው፣ ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ተፋጠጡ።

"ምግቡ ልክ ነው፣ መርፌው ልክ ነው" አለች ሐኪሟ። "ሌላ የሚበላው ነገር ይኖራል?"

"ኧረ የለም! ከኔ እጅ ውጪ አይበላም" አለች ልጅቷ።

ሹፌሩ የክፍሉን ጣራ ይመረምሩ ጀመር። ጣራው ላይ ምንም አልነበረም።

"አባባ?"

"እ?"

"ጠዋት ጠዋት ከድንቡሼ ጋር አየር ልንቀበል ብላችሁ የምትወጡት ወዴት ነው?"

"ወደ ዳቦ ቤቱ በኩል ነው። እዚያ ጋ አየሩ ጥሩ ነው።"

"አባባ!"

ሹፌሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ዳቦ ጋጋሪው የጥንት ወዳጃቸው ነው፤ ጠዋት ጠዋት አንድ የክሬም ኬክ ያቀርብላቸዋል። "ታዲያ እኔ እኮ ክሬም ተከልክያለሁ" አሉ እንደ ተበደለ ሰው። "ስለዚህ ክሬሙን ለሱ እያስላስኩ እኔ ኬኩን ብቻ ነው የምበላው!"

ሐኪሟ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጅቷ ግን አልሳቀችም።

"የሱ ደም ባይናገር የእርስዎን በምን አውቅ ነበር?" አለች ቀስ ብላ። "ያላችሁኝ እናንተ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ።"

ሹፌሩ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። ወደ ቤት ሲመለሱ የድመቱን ሳጥን "እኔ ልያዝ" ብለው ተቀበሏት።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ የድንቡሼን መለኪያ ስታዘጋጅ አባቷ መጥተው ከድመቱ ጎን ተቀመጡና ጣታቸውን ዘረጉ።

"መጀመሪያ እኔን። አብረን ነው የበላነው፣ አብረን እንመርመር።"

ከዚያ ለዳቦ ጋጋሪው ለመንገር ወረዱ። ሰውዬው ዱቄት ባጨማለቀው እጁ ራሱን ያዘ። "እኔ ነኛ የገደልኩት!"

"አልሞተም እኮ።"

"ሊሞት ነበራ! አንተንም ሊገድልህ ነበር! ምነው ዝም አልከኝ?"

"ክሬምህ ይጣፍጣላ" አሉት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ዳቦ ጋጋሪው ለሹፌሩ የሚያቀርብላቸው የተቀቀለ እንቁላል ሆነ። ለድንቡሼ ሰላምታ ብቻ።

የጠዋቱ ልኬትም ወደ ውድድር ተለወጠ። ሹፌሩና ድመቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ቁጥሩ ያነሰለት ያሸንፋል። ድንቡሼ ሲያሸንፍ ሹፌሩ "መለኪያው ለሱ ያደላል፣ ይደገም!" ይላሉ። እሳቸው ሲያሸንፉ ደግሞ ደረጃውን ሲወርዱ ፉጨታቸው ሱቁ ድረስ ይሰማል። ልጅቷ አባቷን ስንት ዓመት ለምና፣ ተቆጥታ፣ አኩርፋ ያላደረገችውን ድመቱ ያለ አንድ ቃል አደረገው። የድንቡሼም ተረከዝ ቀስ በቀስ ከመሬት ተነሳ። አንድ ቀን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘሎ ወጥቶ የሰው ሐር ላይ ሲንጋለል ስታየው፣ በሌላ ጊዜ ቢሆን የምትጮኸው ሴት ቆማ አጨበጨበችለት።

አንዲት ሙሽራ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። ቀሚሷን ልትለካ ነበር። መስታወቱ ፊት በባዶ እግሯ ቆማለች፤ ልብስ ሰፊዋ ተንበርክካ የቀሚሱን ጫፍ በስፒል ትይዛለች፤ ሹፌሩ ጥግ ላይ ተቀምጠው ማንም ያልጠየቃቸውን አስተያየት ይሰጣሉ። ድንቡሼ ከመስኮቱ ወረደ። ሁለት ሦስት ጊዜ ተራመደና እንደ ሰካራም ተወላገደ፤ ግድግዳውን ተደግፎ ራሱን ይነቀንቅ ጀመር።

ሹፌሩ ብድግ አሉ። "ወርዶበታል! ስኳሩ ወርዶበታል! አውቀዋለሁ፣ እኔንም እንዲህ ነው የሚያደርገኝ! ማር! ማር አምጡ!"

ቤት ውስጥ ማር የለም። ከኬኩ ጉዳይ ወዲህ ልጅቷ ጣፋጭ የሚባለውን ሁሉ ጠራርጋ አስወጥታለች። እሷ ድመቱን አቅፋለች፤ አባቷ ለመሮጥ ጉልበት የላቸውም። ሙሽራዋ አንዴ ድመቱን አየች፣ አንዴ በሩን አየች። ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ተፈተለከች።

ዳቦ ጋጋሪው ይህን እስከ ዛሬ አውርቶ አይጠግብም። ሰው ተሰልፎ ዳቦ እየጠበቀ ሳለ ነጭ የለበሰች፣ ጫማ የሌላት፣ ዙሪያዋን ስፒል የተሰካባት ሙሽራ በሩን በርግዳ "ማር! ድመቱ ሊሞት ነው!" አለች። ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ። ዳቦ ጋጋሪው የማር ጠርሙስ አንስቶ ሰጣት፤ ከዚያ ዝም ብሎ መቆም አቃተውና ሽርጡን እንደታጠቀ ከኋላዋ ሮጠ። ከሰልፉም አንዳንዶቹ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተከተሉ።

ልጅቷ ማሩን በጣቷ እየዛቀች ድዱን ቀባችው። ሹፌሩ አጠገቡ ተንበርክከው "አይዞህ ወንድሜ፣ አይዞህ። መጀመሪያ ብርድ ብርድ ይልሃል፣ ከዚያ ይተውሃል" ይሉታል። ድንቡሼ ከንፈሩን ላሰ። እንደገና ላሰ። ዓይኑን ገልጦ የተሰበሰበውን ሕዝብ አየና በሙሉ ድምፁ "ሚያው!" አለ፤ ምግብ የሚጠይቅበት ድምፅ ነው። ልጅቷ ሳህኑን አቀረበችለት። ሙሽራዋ እፎይ ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ ከማለቷ "ኧረ ስፒሉ!" ብላ ዘላ ተነሳች። ሱቁ በሳቅ ተናጋ።

ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪሟ ወሰዱት። ሐኪሟ ሁሉንም ሰምታ፣ ደሙን ለክታ፣ ድመቱን ግንባሩ ላይ ሳመችው።

"ጥሩ አድርጋችኋል። ወሬውም ጥሩ ነው።"

"ምኑ ነው ጥሩ?" አለች ልጅቷ፤ ድንጋጤው ገና አልለቀቃትም።

"ሰውነቱ የራሱን ኢንሱሊን መሥራት ጀምሯል። ስለዚህ የምንሰጠው በዛበት። ከዛሬ ጀምሮ እንቀንስለታለን።"

ቀነሱለት። እየለኩ እንደገና ቀነሱለት። በመጨረሻ ሐኪሟ "በቃ፣ መርፌውን ተዉት፤ ምግቡን ግን እንዳትለውጡ፣ መለካቱንም እንዳታቆሙ" አለች። ልጅቷ ከደስታዋ ብዛት ሐኪሟን አቅፋ አልለቅም አለች።

ሹፌሩ ግን አኮረፉ። ምሳም አልበላም አሉ።

"ምን ሆኑ አባባ? አይደሰቱም?"

"ተደስቻለሁ።"

"ታዲያ?"

"ከዳኝ" አሉ ወደ መስኮቱ እያዩ። "ጥሎኝ ዳነ።"

በማግስቱ ጠዋት መለኪያቸውን ይዘው ብቻቸውን ተቀመጡ። ድንቡሼ ከመኝታው ተነሳ፣ ተንጠራራ፣ መጥቶ እንደ ወትሮው ጎናቸው ዘፍ አለ።

"ምግብ ፈልጎ ነው" አለች ልጅቷ።

"ለኔ ብሎ ነው" አሉ። ክርክሩ እዚያው ቀረ፤ ልኬቱም ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ የሹፌሩ የራሳቸው ሐኪም ውጤታቸውን አይቶ ተገረመና የሳቸውንም መድኃኒት ቀነሰ። "ምን አድርገው ነው?" ቢላቸው "ከድመት ጋር ተወዳድሬ" አሉት። ሐኪሙ የሰማውን መዝገብ ላይ ይጻፈው አይጻፈው አይታወቅም።

በቅርቡ ድንቡሼን ለክትትል ሲወስዱት መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አንድ ፖሊስ አገኙ። በሩን የሚሞላ ሰው ነው፤ ጃኬቱ ውስጥ አንዲት ግራጫ ድመት አቅፎ ዓይኑ ቀልቷል።

"ስኳር ነው አሉኝ" አለ ማንም ሳይጠይቀው። "መርፌ ውጋት አሉኝ። እኔ እሷን? እንዴት አድርጌ?"

ሹፌሩ አጠገቡ ተቀመጡ። የፖሊሱን ሰፊ ትከሻ መታ መታ አድርገው ከልጃቸው መርፌ ጀምረው እስከ ራሳቸው ኬክ ድረስ ሁሉንም አጫወቱት፤ ኬኩ ጋ ሲደርሱ ፖሊሱ በእጁ አፉን ይዞ ሳቀ። ሲለያዩ ስልካቸውን ሰጡት። "ሲጨንቅህ ደውል ልጄ። እኔ ሥራ የለኝም።"

ገና የቤታቸውን ደረጃ ሳይጨርሱ ስልኩ ጮኸ። ሹፌሩ አንስተው ወዲያው ከጆሯቸው አራቁት፤ የፖሊሱ ድምፅ ደረጃውን ሞላው።

"አባባ! ወጋኋት! እየበላች ወጋኋት! እሷ እኮ አላወቀችም፣ አሁንም እየበላች ነው!"