በእሳቱ ሰ የወጣው መጽሐፍ

«የለም ብላለች ልጅህ» አለችው የሚስቱ ታናሽ እህት በስልክ። «ፈለግሁት፣ ፈለግሁት፣ እንዲህ የሚባል መጽሐፍ የለም። ድሮም እሱ… ብላ ዘጋችብኝ።»

ሽማግሌው ስልኩን ከቀኝ ጆሮው ወደ ግራው አዛወረው፤ በሌላው ጆሮ ሲሰሙት ነገሩ የሚለወጥ ይመስል።

«አለ እኮ! ሰኞ ነው የወጣው። በዐይኔ ነው ያየሁት።»

«እስቲ በእጅህ ያዘውና ንገረኝ።»

«በእጅ አይያዝም አልኩሽ! የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ነው። ደመና በሚሉት ላይ ተቀምጦ ሰው በስልኩ ነው የሚያወርደው።»

«ደመና ላይ? ላም አለኝ በሰማይ በለኛ ጋሼ!» የስፌት መኪናዋ ከበስተኋላዋ ትርርር አለና ቆመ። ድምጿም አብሮ ዝቅ አለ። «ቅዳሜ አንድ ጊዜ እደግመዋለሁ ብላለች። ያኔም ካጣሁት ግን ስሙን ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ ነው ያለችው። እንግዲህ የኔ አቅም እስከዚህ ነው።»

ቀኑ ረቡዕ ነበር።

ይህ ሰው ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበር። በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ «ንጉሡ» ነበር የሚሉት። ዘውድ ደፍቶ አይደለም። ሌላው በሰነፍ እጁ እሳቱን ሰ በጻፈበት ቦታ ሁሉ ቀይ እስክሪብቶውን መዝዞ «እዚህ ላይ ንጉሡ ሠ ነው የሚገባው!» ብሎ ስለሚጮህ ነው። ስሕተት ካገኘበት ገጽ ግርጌ ሁልጊዜ «አርመህ መልስ» ብሎ ይጽፋል፤ ለሴት ከሆነም «አርመሽ መልሺ»። ሌላ ነገር አይጨምርም። ያምራል አይል፣ ያስጠላል አይል።

አንዲት ልጅ ነበረችው። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ከሄደችበት ሩቅ አገር ደብዳቤ ጻፈችለት፤ ለእናቷ ሳይሆን ለእሱ፣ በማተሚያ ቤቱ አድራሻ። ደብዳቤው የደረሰው ጠረጴዛው ላይ የሚታረም ወረቀት ተቆልሎ፣ ቀዩ እስክሪብቶ በጣቶቹ መካከል እንዳለ ነው። ዐይኑ አነበበ፤ እጁ ደግሞ ለብቻው ሥራውን ሠራ። ሲጨርስ ከግርጌው «አርመሽ መልሺ» ብሎ ጻፈበትና በአዲስ ፖስታ አሽጎ መልሶ ላከላት። እሱ እንደ ቀልድ ነበር ያየው። እንዲያውም እንደ ፍቅር። ትስቃለች ብሎ ነበር፣ ሞኝ!

አልሳቀችም። አልመለሰችም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የብዕር ወለምታማ ጭራሽ የሚታሽበትም ቦታ የለው። ከዚያ ወዲያ ለእናቷ ትደውላለች፣ ለአክስቷ ትደውላለች፤ እሱ ስልኩን ሲቀበል ግን መስመሩ ይሞታል። «ሦስት ቦታ ብቻ እኮ ነው ያረምኩት!» ይል ነበር ለሚስቱ። «ሦስት ፊደል! በሦስት ፊደል ሰው አባቱን ይጥላል?» ሚስቱ መልስ ሳትሰጠው ከሁለት ዓመት በፊት ሞተች። ልጅቱ ለቀብር እንኳ አልመጣችም።

እሱንና ልጁን የምታገናኝ አንዲት ቀጭን ክር ብቻ ቀረች፤ ልብስ ሰፊዋ አክስቷ። እሷም ምላለች። «ቁጥሯን አልሰጥህም፣ ደብዳቤህን አልልክም፣ መልእክትህንም አላደርስም። አስምላኛለች።» ሲለምናት፣ ሲለምናት፣ አንድ ቀን የያዘችውን መርፌ ከአፏ አውጥታ «የመጽሐፍ ስም ግን መልእክት አይደለም» አለችው። «መጽሐፍ ብትጽፍና ስሙን ብነግራት መሐላዬ አይፈርስም።» ቀልዷን ይሆናል። እሱ ግን ቤቱ ገብቶ እርሳስ ቀረጸ።

ዓመት ከመንፈቅ ጻፈ፤ በአሮጌ የማረሚያ ወረቀቶች ጀርባ ላይ። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብላ እንዴት እንደምትጠብቀው ጻፈ። ማምሻ ላይ በደረጃው የምታርፈዋን ብርሃን እናቷ «የሠርክ ፀሐይ» ትላት እንደነበር ጻፈ። በምዕራፍ ስድስት የደብዳቤውን ነገር ጻፈ፤ «ይቅርታ» የሚለውን ቃል ዐሥር ጊዜ ጽፎ ዘጠኙን ሰረዘ። ከዚያ አሳታሚ ዘንድ ብሄድ ተራዬ የሚደርሰኝ ልጄ አያት ስትሆን ነው አለና ራሱ ሊያወጣው ቆረጠ። ደራሲ በሚለው ቦታ ስሙን አላስገባም፤ እኔ ምን ደራሲ ነኝ ብሎ አፍሮ «አራሚው» ብቻ አለ። ርዕሱን «የሠርክ ፀሐይ» ብሎ ሰየመው። ነፍሱ ሁሉ ያለችው በዚያች ርዕስ ላይ ነበር፤ ለልጁ የምትደርሰው እሷ ብቻ ናትና።

አሁን ደግሞ የለም ተባለ።

ኮቱን አንድ እጅጌ ብቻ አጥልቆ ወደ ኮምፒውተር ቤቱ ሮጠ። የሱቁ ባለቤት ድሮ በማተሚያ ቤቱ ጸሐፊ ነበረች፤ ዛሬ ሠፈሩ «ፒዲኤፍ» ነው የሚላት። ፎቶ ኮፒ ፈላጊው በሩ ላይ ተሰልፏል።

«ንጉሡ! ምነው ኮትዎ ግማሽ ሆነ?»

«ጠፋ!»

«እጅጌው?»

«መጽሐፉ! የለም አለች! አንቺ ነሽ ያስገባሽው፤ አንቺው አምጪው!»

ሰልፉን ትታ መጣች። በእርሳስ የተጻፈውን ሁሉ የተየበችው እሷ ናት፤ ፊደሉ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሳጥን እየሆነ ሲወጣባት ሦስት ቀን ታግላ ያስተካከለችው፣ ሽፋኑንም የሠራችው እሷ ናት። የእሱን ገጽ ከፍታ አሳየችው። መጽሐፉ አለ። ከሥሩ «ያወረዱ፦ 0» ይላል።

«ይኸው፣ ንቅንቅ አላለም።»

«አንቺማ በጓዳ በር ገብተሽ ነው። እንደ አንባቢ በዋናው በር ግቢና ፈልጊው።»

በስልኳ የመጽሐፍ መደብሩን ከፈተችና በሁለት አውራ ጣቶቿ ጠቅ ጠቅ አደረገች። «ምንም አልተገኘም» አለ ስልኩ።

ፒዲኤፍ ለሽማግሌው ወንበር ሳበችለት። እሱ ግን አልተቀመጠም፤ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ ስልኩ ላይ አጎነበሰ።

«ቆይ። ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«የሰርክ ጸሀይ።»

«በየትኛው ሰ?»

«በየትኛው ማለት? እንደ ሰው ነዋ!»

ለካ ነገሩ ይኸው ነበር። መደብሩ የሚፈልገው በርዕስ ብቻ ነው፤ ርዕሱም ፊደል በፊደል ካልገጠመለት አያውቀውም። ጆሮ የማይለየውን እሱ ይለያል። «ስልክ ላይ ሰ ሲነኩ እሳቱ ነው የሚመጣው» አለች ፒዲኤፍ። «ንጉሡን ለማግኘት ጣትዎን ጫን አድርገው መጠበቅ አለብዎት። ዛሬ ማን ይጠብቃል?»

ሽማግሌው በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ሁለት ዐይነት ሰ፣ ሁለት ዐይነት ጸ፣ ስድስት ዐይነት ሀ። ሃያ አራት ዐይነት አጻጻፍ። መጽሐፉን ከሃያ አራት በሮች ጀርባ አስቀምጦ አንዱን ብቻ ነው የከፈተው፤ ልጁ ደግሞ በሌላኛው እያንኳኳች ነው። ለአክስቲቱ ደወለ።

«ስሚኝ። ስትደውልልሽ እንዲህ በያት፦ በንጉሡ ሠ፣ በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ…»

«ምን? የምን ንጉሥ?»

«ፊደሉን! እንደዚያ አድርጋ ካልጻፈችው አታገኘውም።»

የስፌት መኪናዋ ቀጥ አለ።

«ጋሼ፣ ልጅቷን በደብዳቤ ያረምካት አንሶህ አሁን ደግሞ በኔ አፍ ልታርማት ነው?»

«ኧረ በናትሽ! እንዳታጣው ብዬ እኮ…»

«አልልም! ብትገድለኝ አልልም! በምታውቀው ፊደል ትፈልግ። አንተ እዚያ ሄደህ ጠብቃት።» ዘጋችው።

አሁን ተቀመጠ። ፎቶ ኮፒው እየተንጫጫ ነው፣ ሰልፈኛው እያጉረመረመ ነው፤ እሱ ምንም አይሰማም። ልጁ በየትኛው በር እንደምታንኳኳ መገመት አያስፈልገውም ነበር፤ ያውቀዋል። ዐይኑን ጨፍኖ ደብዳቤውን አየው። ሰማያዊ ቀለም፣ ባለ መስመር ወረቀት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ እዚህ የሰርክ ጸሀይ የለም አባዬ። ሰ ላይ ቀይ፣ ጸ ላይ ቀይ፣ ሀ ላይ ቀይ።

ከዚያች መስመር በላይስ? ጠበቀ። ነጭ ነው። ከሥሯስ? እሱም ነጭ። ሁለት ገጽ ሙሉ ደብዳቤ ነበር። ታማ ይሆን የጻፈችው? ልምጣ ብላ ይሆን? ሰው አስቀይሟት፣ ርቧት፣ ፈርታ ይሆን? ፊደሎቹን እንደ መዝሙር ይወጣቸዋል፤ ልጁ ምን እንዳለችው ግን አያውቅም። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ይህን አላሰበውም ነበር። መነጽሩን አወለቀና በመዳፉ ፊቱን ሸፈነ። ፒዲኤፍ ሰልፈኞቹን «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ነገ ኑ» ብላ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«በእሳቱ ሰ ጻፊው» አለ ከመዳፉ ውስጥ። «በጸሎቱ ጸ። በሃሌታው ሀ።»

«ንጉሡ፣ እርግጠኛ ነዎት? ሃያ ዓመት በዚህችው ሰ ሲያስለቅሱኝ ኖረው!»

«አውቃለሁ።»

«ሽፋኑም ይቀየራል። ከርዕሱ ጋር ካልገጠመ መደብሩ ይመልሰዋል። በትልልቁ ነው የሚጻፈው እኮ፤ የድሮ ባልደረቦችዎ ቢያዩት…»

«ጻፊ አልኩሽ! ይሳቁ!»

ጻፈች። ቁልፉን እሱ ተጫነው። መደብሩም «በግምገማ ላይ ነው፤ እስከ ሰባ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል» ብሎ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረደው። እስኪያልፍ ድረስ በሃያ አራቱም በር የለም ማለት ነው። ለቅዳሜ የቀረው ሦስት ቀን ነው።

ሐሙስ የለም። ዓርብ የለም። ቅዳሜ ጠዋት ገና በሩ ሲከፈት ገብቶ ወንበሩ ላይ ተተከለ። «በግምገማ ላይ ነው።» በስድስት ሰዓት፣ በግምገማ ላይ ነው። በስምንት ሰዓት ለአክስቲቱ ደወለ።

«ደወለች?»

«አልደወለችም። አንተም ተወኝ፤ ሙሽራ እየለካሁ ነው።»

«እሷ ያለችበት ስንት ሰዓት ይሆን አሁን?»

«የት እንዳለች አልነግርህም፤ ምያለሁ!»

ፒዲኤፍ ዳቦ ገመሰችለት፤ በእጁ ይዞት ዋለ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ዘቅዝቃ የሱቁ ደረጃ ላይ አረፈች። ያን ጊዜ ነው ፒዲኤፍ «ወጣ!» ብላ የጮኸችው። በስልኳ እንደ ሰው ጻፈች፤ መጽሐፉ ብቅ አለ። ሽፋኑ ላይ ሦስት ስሕተት በትልልቁ ተጽፏል። ያወረዱ፦ 0። ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ 0።

«ምናልባት ጠዋት ፈልጋው ቢሆንስ?» አላት በሩ ላይ።

ኮቱን አስተካክላ ቆለፈችለት።

እሑድ ሱቁ ዝግ ነው። የእሱ ስልክ ደግሞ ከመደወልና ከመቀበል ሌላ የማያውቅ አሮጌ ነው። ቀኑን ሙሉ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ሲል ዋለ። ሰኞ ፒዲኤፍ ስትመጣ የተዘጋውን በር ተደግፎ አገኘችው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላለችውም። ኮምፒውተሩን አስነሣች።

ያወረዱ፦ 1።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ለምኔ? ቃል በቃል ተይቤው!» ጣቷን ወደ ታች አወረደች። «አስተያየትም አለ። ከአምስት ኮከብ… አንድ ነው የሰጡት።»

«አንድ ምን ማለት ነው?»

«እ… አልተወደደም ማለት ነው። ላንብብልዎ?»

«ራሴ አነባለሁ።»

እንዲህ ይላል፦ «ምእራፍ ስድስት። ሶስት ቦታ የሚለው ስህተት ነው። አስራ ዘጠኝ ቦታ ነው። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። አርመህ መልስ።»

አነበበው። ደግሞ አነበበው። ፒዲኤፍ ከልማዷ የተነሣ ወደ ደረት ኪሱ፣ ወደ ቀዩ እስክሪብቶ ሰረቅ አድርጋ አየች፤ በአንዲት አስተያየት ውስጥ ያን ያህል ስሕተት አልፎ አያውቅምና። እጁ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ወረቀቱ እጄ ላይ ነው ነው ያለችው?»

«እጄ ላይ ነው ይላል።»

«ዐሥራ አንድ ዓመት!» አለ። «ምዕራፍ ስድስትን ክፈቺ። ሦስት የሚለውን አጥፊው፤ ዐሥራ ዘጠኝ በይ።»

አደረገችው። «ታረመ። ርዕሱንስ ወደ ንጉሡ ልመልሰው?»

«እንዳትነኪው!»

«እሺ። እንግዲህ ‹መልስ› የምትለዋ ቀረች» አለችና ባዶውን የመልስ ሳጥን ከፍታ ወንበሩን ለቀቀችለት።

ሽማግሌው ቁልፎቹ ላይ አጎነበሰ። ተይቦ አያውቅም። በአንዲት ጣት፣ ፊደል እየፈለገ፣ የትኛው ሰ ይሁን የትኛው ሀ ሳይጨነቅ፣ ረጅም ጊዜ ወስዶ አንድ ነገር ብቻ ጻፈ፦

«ምን ብለሽኝ ነበር?»

ከዚያ ተጫነው።