በግድግዳው ውስጥ ማን ያንጎራጉራል?

የንባብ ክፍላችንን ኃላፊ በትክክለኛ ስማቸው የሚያውቃቸው ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም። ሁላችንም እትዬ ጸጥታ ነው የምንላቸው፤ ከዚህ ቃል ሌላ ሲናገሩ የሰማቸው ጥቂት ሰው ነው። ስታስነጥስ "ጸጥታ"፣ ስልክህ ሲንቀጠቀጥ "ጸጥታ"። ወንበር ከጎተትክ ደግሞ ቃሉም አያስፈልግ፤ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው ያዩሃል፣ አንተም ወንበሩን እንደ ታመመ ሰው አቅፈህ ታነሳዋለህ።

ሥራቸውን ግን አሳምረው ነው የሚሠሩት። አንድ ቅጂ ብቻ ያለውን መጽሐፍ ለአንዱ ጠዋት፣ ለሌላዋ ከሰዓት እያሉ ክፍሉን በሙሉ ያዳርሱታል። ፎቶኮፒ ማሽኑ ወረቀት ሲውጥ ጎኑን መታ መታ አድርገው የሚያስተፉት እሳቸው ናቸው። በር ላይ ተማሪ ተሰልፎ ካዩም ሰዓት ሳይደርስ ይከፍታሉ።

የክፍሉ ሌላ ባለሥልጣን ኤሲው ነበር። ቁም ሣጥን ያክላል፤ ከጠዋት እስከ ማታ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል። መካከለኛ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ከተከፈተ ያንዘፈዝፋል። ውጭ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ እኛ ውስጥ ሹራብ ደርበን፣ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ሸጉጠን ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር እናነብ ነበር። ይህ ነገር ያሳቀው ሰው አልነበረም። ለምደነዋላ።

እኔ ስለ ዓለም ሙቀት የማነበው ዓለምን ላድን ብዬ አይደለም፤ መዋሸት ምን ያደርግልኛል። የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ባለፈው ዓመት ስለጣለኝ ነው። ዘንድሮም ከደገመኝ ከግቢው እሰናበታለሁ። የምኖረው አጎቴ ቤት ነው፤ አጎቴ ደግሞ በያጅ ነው። ሱቁ ታች፣ እኛ ላይ። ጠዋት መዶሻውን ሲያነሳ ትራሴ ይዘላል፣ ድምፁን ሲያነሳ ደግሞ መዶሻው ይሻላል። ሲጮህ ኖሮ መጮኹን ረስቶታል፤ በሕይወቱ ሹክ ብሎ ያወራ አይመስለኝም። እዚያ ቤት መብላት፣ መሳቅና መተኛት ይቻላል፤ ማንበብ ግን አይታሰብም።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ለኔ ከማሰቡ የተነሳ፣ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ የምቀበልበት የብረት ወንበር ሠርቶ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶልኛል። "ትምህርቱ እንቢ ካለ መቀመጫሽ ዝግጁ ነው" ይለኛል። ያን ወንበር ላለማየት ሱቁን በሩጫ ነበር የማልፈው።

ማለፍ መውደቄ በአንድ ጽሑፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ረቂቄን "የዓለም ሙቀት መጨመር በአሁኑ ወቅት የሰውን ልጅ እያሳሰቡ ከሚገኙ ችግሮች አንዱና ዋነኛው ነው" ብዬ ጀምሬ፣ ሁላችንም በጋራ መነሳት አለብን ብዬ ዘጋሁት። መምህራችን መልሶ ሰጠኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ክፍሉ በሙሉ ጽፎታል፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው አለኝ። ቀጥሎም አንቺ በገዛ ዓይንሽ ያየሽው አንድ ነገር የለም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ያየሁት ብየዳ ብቻ ነው ልለው ፈልጌ ተውኩት።

ፈተና ሊደርስ ሲል፣ ሙቀቱ በጠናበት ሰሞን፣ ኤሲው አንድ ጊዜ አቃሰተና ዝም አለ።

ከሙቀቱ ቀድሞ የደረሰው ጸጥታው ነው። ለካ ያ ጩኸት ስንቱን ሸፍኖልን ኖሯል! ብስኩት የሚቆረጥም ሰው ከወዲያኛው ጥግ ተሰማ። ቁርስ ያልበላው ሁሉ በሆዱ ጩኸት ታወቀ። ጥግ ይዘው በሹክሹክታ የሚዋደዱ ሁለት ተማሪዎች አሉን፤ እጮኞቹ እንላቸዋለን። ማታ ስልኩን ለምን እንዳላነሳላት የሚሰጣትን ምክንያት ክፍሉ በሙሉ ሰማው፣ ክፍሉ በሙሉም አላመነውም።

ከዚያ ሙቀቱ ገባ። በማግስቱ ላባችን ወረቀት ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። የጥገና ኃላፊው መጣ፣ ማሽኑን በብዕሩ ነካ ነካ አደረገና ፈረደ፤ አልቆለታል፣ አዲስ ታዟል፣ የሚደርሰው ከፈተና በኋላ ነው፣ እስከዚያው ክፍሉ ከሰኞ ጀምሮ ይዘጋል። ተማሪዎች ቤታቸው ያንብቡ አለ። ቤታችሁ አንብቡ ማለት ለኔ አረንጓዴው ወንበር ላይ ተቀመጪ ማለት ነበር። ዕንባዬ ላብ መስሎ ማንም አላየውም።

በዚያው ከሰዓት ነው አንድ ሰው ማንጎራጎር የጀመረው። ዝግ ያለ፣ ከጉሮሮ የሚወጣ፣ የተመቸው ሰው ድምፅ። እትዬ ጸጥታ ቀና አሉ። "ጸጥታ።" ዝም አለ። ትንሽ ቆየና ቀጠለ። ተነስተው በጫማቸው ጫፍ እየተራመዱ በቀጥታ ወደ እጮኞቹ ሄዱ። ልጁ እኔ አይደለሁም ብሎ ማለ፣ ልጅቱም ስለ እሱ ማለች። እሳቸው ግን እሱን ከበሩ አጠገብ፣ እሷን ከመዝገበ ቃላቱ መደርደሪያ ሥር ለያይተው አስቀመጧቸው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው፤ ገና ወንበራቸው ሳይሞቅ ማንጎራጎሩ እንደገና ተነሳ።

እትዬ ጸጥታ ክፍሉ መሐል ቆመው እጃቸውን አነሱ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ድምፁ የሚመጣው ከላይ፣ ከግድግዳው ውስጥ ነበር።

ለግድግዳው የምቀርበው እኔ ስለነበርኩ በዓይናቸው አዘዙኝ። ጫማዬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ወጣሁና በጣቴ አንኳኳሁ። ግድግዳ ነው ያልነው ባዶ ሣጥን ሆኖ አስተጋባ። ለካ በግድግዳው ቀለም የተቀባ ጣውላ ኖሯል። ጥጉን ሳብ ባደርገው ምስማሩ ለቀቀ፣ በክፍተቱም አንዲት እርግብ በቀይ ዓይኗ፣ ቤቷን ሳያስፈቅዱ እንደከፈቱባት ባለቤት አፈጠጠችብኝ። ከጀርባዋ ረጅም መስኮት አለ። የብረት መዝጊያው ዙሪያውን ተበይዷል፤ እሷ የምትገባው ከመዝጊያው ዘንጎች አንዱ በተሰበረበት ክፍተት ነው። ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ በመጥረጊያ እንጨት ብናንኳኳው እሱም ባዶ ድምፅ ሰጠ። ወዲህ ረድፍ፣ ወዲያ ረድፍ፣ ጣሪያው ሥር የተደበቀ መስኮት ብቻ።

የጥገና ኃላፊው ተጠርቶ መጣና አልገረመውም። ኤሲው የተገጠመ ጊዜ ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ ተብሎ የተዘጋ ነው አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አልኩ በሆዴ። ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል የሚለውን እኔም ለፈተና በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ ከደብተሬ ቀና ብዬ፣ ታዲያ በየት በኩል ይወጣል ብዬ አላውቅም።

ይከፈትልን አልነው። በያጅ ያስፈልጋል፣ ለበያጅ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ደብዳቤው ደግሞ ፊርማ ይፈልጋል እያለ ወደ በሩ አመራ። ያን ጊዜ እትዬ ጸጥታ ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ ረጅሙን ተናገሩ።

"ሰኞ ጠዋት ይምጡና እዚህ ቁጭ ይበሉ። መቀመጥ ካቃተዎት ያኔ ይዝጉት።"

ኃላፊው ትከሻውን ሰብቆ እሺ አለ። በያጁን ፈልጎ ማምጣት ለኔ ተረፈ፤ የማውቀው በያጅ ደግሞ አንድ ነው። ክፍሉ ቢዘጋ ሱቁ ውስጥ ረዳት የሚያገኘው ያው እሱ ነው። እራት ላይ ሁሉንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ወንበሩስ?" አለኝ።

"ወንበሩ አይሸሽም፣ ጋሼ። እኔ ግን እዚያ መቀመጥ አልፈልግም።"

እንዲህ ፊት ለፊት ብዬው አላውቅም ነበር። ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገ።

"እኔ እኮ ወንበሩን የሠራሁት፣ ምናልባት ብትወድቂ መሬት ላይ እንዳትቀሪ ብዬ ነው" አለኝ። "መሰላል አላችሁ ወይስ የራሴን ልያዝ?"

ቅዳሜ ጠዋት መሰላሉን ተሸክሞ፣ የመቁረጫ ማሽኑን አንጠልጥሎ ገባና በዚያ ድምፁ እንደምን አደራችሁ አለ። እትዬ ጸጥታ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። አጎቴ፣ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ የሚያስበረግገው ሰውዬ፣ አንገቱን ቀበረ። ማሽኑንም ቀሙት። ተማሪ እያነበበ በእጅ መጋዝ ካልሆነ በቀር አይሆንም አሉ። እሱም ያለ ወትሮው ሳይከራከር መጋዙን ይዞ መሰላሉን ወጣ።

መሰላሉ ጫፍ ላይ እንደደረሰ ብየዳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ዘወር ብሎ አየኝና ፊቱ በራ።

"ይሄ የኔ እጅ ነው" አለ።

ወጣት ሳለ፣ የሌላ ሰው ተቀጣሪ ሆኖ፣ ኤሲው ሲገጠም እነዚህን መስኮቶች የዘጋው ራሱ ነበር። እንዴት ያለ ብየዳ እንደሆነ እዩልኝ እያለ ኮራ። ኩራቱ የቆየው ግን መጋዙ እስኪነካው ድረስ ነው። የገዛ ሥራው ጥርስ የማያስነካ ሆኖበት ላቡ በጀርባው ወረደ፤ ያኔ ምናለ ትንሽ ብሰንፍ ኖሮ እያለ ራሱን ረገመ። እኛም ተረኛ ሆንን። አንዱ ይጋዛል፣ ሌላው ጣውላ ያወርዳል፣ ሌላው ወርዶ ያነባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ሲባል በጆሮዬ የሰማሁት ስንት ጊዜ ነው፤ በክንዴ የገባኝ ያን ቀን ነው። እጮኞቹ መሰላሉን ግራና ቀኝ ይዘው ቆሙ። ያን ያህል ረጅም ሰዓት ያለ ተቆጪ ተያይተው አያውቁም።

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው መስኮት በዚህኛው ግድግዳ፣ ቀጥሎም አንዱ በዚያኛው ተከፈተ። ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ወረቀታችንን ሁሉ ጠራርጎ አነሳው። የሒሳቡ ከታሪኩ ተደባለቀ፤ ሁላችንም እየሳቅን ተሯሯጥን፣ እትዬ ጸጥታም ሳይቀሩ። የእርግቧን መስኮት ግን ማንም እንዳይነካው አዘዙ። ሁለት ጫጩቶች ነበሯት፤ በዚያ ክፍል እንደልባቸው እንዲንጫጩ የተፈቀደላቸው እነሱ ብቻ ናቸው።

ሰኞ የጥገና ኃላፊው በቃሉ መጣ። ሹራብ የለበሰ ሰው አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር ቀትር ላይ አሁንም ላብ ላብ ይለናል፣ ግን የሰው ላብ ነው፣ ይቻላል። ኃላፊው ከነፋሱ መግቢያ ሥር ተቀመጠና ጋዜጣ ዘረጋ። ሁለተኛውን ገጽ ሳይገልጥ ግንባሩ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ቀጥሎ ማንኮራፋቱ መጣ። እትዬ ጸጥታ ሄደው ትከሻውን በአንድ ጣት ነካ አደረጉት።

"ጸጥታ።"

ክፍሉ አልተዘጋም።

ጽሑፌን እዚያው፣ በነፋሱ መሐል፣ ወረቀቱን በድንጋይ አስይዤ ጻፍኩት። ዓለምን አዳንን አላልኩም። አንድ ክፍል ኤሌክትሪክ ሳያቃጥል ትንፋሽ አገኘ ነው ያልኩት። ቤተ መጻሕፍት ድሮም ሥራው ይኸው ነው ብዬ ጨመርኩ፤ አንድ መጽሐፍ ለመቶ ሰው፣ አንድ መብራት ለመቶ ሰው፣ አሁን ደግሞ አንድ ነፋስ ለመቶ ሰው። ስለ እርግቧም፣ ስለ አጎቴ ብየዳም ጻፍኩ። መምህራችን ስለ ዓለም ጻፊ ብዬሽ ስለ መስኮት ጻፍሽልኝ ብሎ አሾፈብኝ። ከዚያ ማለፌን ነገረኝ። ኮሪደሩን በሩጫ ስጨርሰው ጸጥታ የሚለኝ ሰው አልነበረም።

አዲሱ ኤሲ ፈተናው ካለቀ በኋላ በትልቅ ካርቶን መጣ። ሠራተኞቹ ገጠሙት፣ መስኮቶቹን ዘጉ፣ ማሽኑን ከፈቱት። አጓራ። እትዬ ጸጥታ ቆመው አዳመጡት፤ ከዚያ ቀስ ብለው ተጠጉና ማጥፊያውን ተጫኑ።

"በዚህ ክፍል ስንቱን ጸጥ አሰኝቻለሁ" አሉ። "አሮጌው ብቻ ነበር አሻፈረኝ ያለኝ። አዲሱን አላሳድግም።"

ማሽኑ መድኃኒት በሙቀት ወደሚበላሽበት ወደ ግቢው ክሊኒክ ተወሰደ፤ እዚያ በእርግጥም ያስፈልግ ነበር።

ለኔ አንድ ቅሬታ ብቻ ቀረኝ። ከመስኮቱ ሥር ያሉትን መቀመጫዎች እጮኞቹና መሰሎቻቸው ገና በጠዋት ይይዟቸዋል፤ እኔ በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት። ይህን እራት ላይ ለአጎቴ ነግሬው ረሳሁት።

በሚቀጥለው ሳምንት የንባብ ክፍሉ በር ተከፈተና አጎቴ አረንጓዴውን ወንበር ትከሻው ላይ አድርጎ፣ በእግር ጣቶቹ እየተራመደ ገባ። ከመስኮቱ ሥር አስቀመጠው። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎም በሕይወቱ የመጀመሪያ የሆነውን ሹክሹክታ ሞከረ፤ ክፍሉ በሙሉ ሰማው።

"መቀመጫሽ ይኸውልሽ።"

ሳቁ ከየጠረጴዛው ተነሳ። እኔ ግን የወንበሩን መደገፊያ ይዤ ቆምኩ። እትዬ ጸጥታ መጡ፣ ወንበሩን ያዙና በሙሉ ኃይላቸው ወለሉ ላይ ጎተቱት። ምንም ድምፅ አልወጣም። ጎንበስ ብለው እግሮቹን አዩ፤ ለአራቱም ከአሮጌ ጎማ ጫማ ተቆርጦላቸዋል።

"ለሌሎቹም እንዲህ ያደርጉልኛል?" አሉት።

አጎቴ ደስታው ቦታውን አስረሳውና "እንዴታ!" ሲል መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ፣ እርግቦቹም በረሩ። እትዬ ጸጥታ ያን ዕለት ምንም አላሉትም።