ከቅጥሩ ውጭ

ያን እሑድ የሰንበቴው ተራ የእኛ ነበር። ዳቦውን እኔ ደፋሁ፣ ጠላውን አክስቴ ከመሸንቲ ጠምቃ አመጣችልኝ፣ ባሌ ሕዝቅኤል ደግሞ ክርክሩን ይዞ መጣ። እሱ ባዶ እጁን የትም አይሄድም።

ሕዝቅኤል የሐዋሳ ልጅ ነው፤ እዚህ ባሕር ዳር ኮሌጅ ኢኮኖሚክስ ያስተምራል። ከተጋባን ጀምሮ አባቴን እንደ ተማሪ ሊያስረዳቸው ይሞክራል። አባቴ ቄሰ ገበዝ ወልደ ጻድቅ ደግሞ ከከተማው ጫፍ፣ በሐይቁ ዳር ያለችውን ቤተ ክርስቲያናችንን የሚያስተዳድሩ ካህን ናቸው፤ በሕይወታቸው ማንንም «አስረዳኝ» ብለው አያውቁም። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ጭድና እሳት ማስቀመጥ ነው። ዳቦ የማድለው፣ ጠላ የምቀዳው፣ በመካከል የምለበለበው እኔ ዜማ ነኝ።

አባ ሲቆጡ የሚያደርጉትን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ልጆች ሳለን አንድ ሰውዬ የታመመች እናቱን ብቻዋን ትቶ ለንግሥ መጣ። አባ በሩ ላይ ጠብቀው፣ መቋሚያቸውን አጋድመው፣ «እናቱን ጥሎ የመጣ እግር ይህን ደፍ አይርገጥ!» ብለው መለሱት። ሰውዬው እያለቀሰ ተመለሰ። እኔ ፈርቼ ዛፍ ሥር ተደብቄ ነበር፤ ታናሽ እህቴ ኪዲ ግን የአባን ነጠላ ጫፍ እንደያዘች ከአጠገባቸው ንቅንቅ አላለችም።

ኪዲ፣ ሙሉ ስሟ ኪዳነ ምሕረት፣ አሁን ዐረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች። ቤቱ ከነዳጅ ወደቡ አጠገብ ነው። የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ድምፅዋን የምንሰማው በኢሞ ነው፣ እሱም ሲገኝ። ቅዳሜ ደውላ «ለመውጣት ለፈለገ አውቶቡስ አለ፤ ነገ ሲመሽ ይነሳል። ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ፤ አባ ያሉኝን አደርጋለሁ» ብላ ዘጋች። እንግዲህ ያን እሑድ የሚጠበቀው ከአባ አፍ አንዲት ቃል ነበረች፤ ወይ ውጪ፣ ወይ ቆዪ።

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ኔትወርክ የሚገኘው ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከፍታ ላይ ስለሆነ። ቁልቁል ወደ በሩ ከወረዱ ዛፉ ሁሉን ይውጠዋል። ከበሩ ውጭ ያለው ሐይቁ ነው። ስለዚህ ስልኬን መስኮቱ ላይ አቁሜ፣ አንድ ዓይኔን እሱ ላይ አንዱን ጠላው ላይ አድርጌ እቀዳ ጀመር።

ነገሩን የጫሩት ጋሽ አካሉ ናቸው። ምእመናንን ወደ ገዳማቱ የሚያመላልሱባት ባለሞተር ጀልባ አለቻቸው፤ ቤንዚን ከጠፋ ወዲህ ሸረሪት አድርቶባታል።

«ለመሆኑ እነዚህን ሰዎች ምን አጣላቸው?» አሉ ጽዋቸውን እያስቀመጡ።

«ነዳጅ ነዋ!» አለ ሕዝቅኤል፣ ጥያቄው ለእሱ የቀረበ ይመስል። «ነዳጅ ባይኖር ያን አሸዋ ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር?»

«ነዳጁ የትናንት ነው» አሉ አባ። «ቃየን አቤልን የገደለው በየትኛው ነዳጅ ነው?»

ሰው ሳቀ። ሕዝቅኤል ሰው ሲስቅበት አይወድም፤ ጆሮው ቀላ።

«አባ፣ ሚሳኤል በቅናት አይተኮስም። ጠቡ መርከብ የሚያልፍበትን ባሕር ማን ይዝጋው፣ ማን ይክፈተው ነው። ያን የያዘ የዓለምን ጉሮሮ ይይዛል። ይኸው የእኛም ተይዟል፤ የጋሽ አካሉ ጀልባ ቆማለች፣ የዱርቤቴ ገበሬ ማዳበሪያ ሲጠብቅ ክረምቱ ሊገባበት ነው። እነሱ እዚያ ይተኩሳሉ፣ እዚህ ማሳ ጦም ያድራል።»

«ለሃይማኖታቸው ነው የሚሉም አሉ» አለች አክስቴ ከጥግ።

«ሃይማኖቱን ይለብሱታል እንጂ አይሞቱለትም» አሉ አባ። «ትዕቢት ነው። ባለሥልጣን ባለሥልጣንን ሲንቅ አገር ይነዳል። ትዕቢት ደግሞ የጠገበ ዕለት ይታረቃል። እስከዚያ በር ዘግቶ መጸለይ ነው።»

የሁለቱም መንገድ ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። ጠቡ የነዳጅ ከሆነ ወደቡ ይመታል፤ ኪዲ መውጣት አለባት። የትዕቢት ከሆነ ያልፋል፤ ትቆይ። ስሟን አንዳቸውም አላነሱም እንጂ ሲነታረኩ የነበሩት በእሷ ላይ ነበር። ማንቆርቆሪያውን እንደያዝሁ መስኮቱ ላይ ያለውን ስልክ አየሁት።

«ትዕቢት ከሆነ ለምን ቤተ መንግሥቱን ትተው ወደቡን ይደበድባሉ?» አለ ሕዝቅኤል። «ትናንት ሲነድ የታየው ምንድን ነው? የነዳጅ ማጠራቀሚያው አይደል? ከዚያ ቤት እኮ በእግር የሚኬድ ነው!»

«መንገዱስ?» አባ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ። «ዐረብ አገር ትሠራ የነበረችውን የመሸንቲዋን ልጅ ጥይት ነው የገደላት? ከጦርነት ስትሸሽ በረሃ ላይ ነው የቀረችው። ፍትሐቷን ያደረስሁት እኔ ነኝ፣ ሬሳ በሌለበት! ባዶ አልጋ ላይ ነጠላ ዘርግተው አስለቀሱኝ። አንተ ከመጽሐፍ ታውቀዋለህ፤ እኔ አይቼዋለሁ!»

«እንግዲያው ለኪዲም ነጠላውን ከአሁኑ ያዘጋጁላት!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሕዝቅኤል ራሱ ቃሉ እንደወጣ ፊቱ አመድ መሰለ። ኪዲን እንደ እህቱ ይወዳታል፤ የላከችለትን ሸሚዝ ነው የለበሰው። ቢሆንም በዚያች ደቂቃ ማንቆርቆሪያውን አናቱ ላይ ብደፋው ደስ ባለኝ።

አባ ተነሡ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራው።

«በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም። ይህ ጦርነት እስኪበርድ ድረስ፣ ከዚህ ቅጥር ውስጥ የእሱን ነገር የሚያነሳ ሰው ቢኖር፣ ሊቅም ይሁን ደቂቅ፣ የተገዘተ ይሁን!»

ሰው ሁሉ አጎነበሰ። ግዝት ቀላል ነገር አይደለም፤ እኛ ዘንድ ሰው ከግዝት ይልቅ በድህነት መሞትን ይመርጣል። ጋሽ አካሉ ያነሡትን ጽዋ ሳይጠጡ መለሱት።

ስልኩ ያን ጊዜ ጮኸ።

ዘልዬ አንስቼ ድምፁን ለሁሉም ከፈትሁት።

«ዜማ፣ አባ አሉ?» ኪዲ ሰው እንደተኛበት ቤት በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።

«አሉ፣ ሁላችንም እንሰማሻለን። በይ ቶሎ።»

«ባለቤቶቹ ትናንት ማታ ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ። መኪናው ሞላ ብለው አሮጊቷን፣ የሰውዬውን እናት፣ ለእኔ ትተዋት ሄዱ። አልጋ ላይ ናት። ካልደገፍኋት ውኃ እንኳ አትጠጣም።» ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። «አይዟችሁ፣ ይኼኛው ቅርብ አይደለም» አለች፤ እኛን ማጽናናቷ ነው። «አውቶቡሱ ሲመሽ ይነሳል። አባ፣ ልሂድ ወይስ ልቆይ?»

ሁላችንም ወደ አባ ዞርን። ባለቤቶቹ መሸሻቸውን ገና መስማታቸው ነበር። የቤቱ ጌታ እናቱን እስከመጣል ከደረሰ፣ የሚመጣውን ቢያውቅ ነው።

ሕዝቅኤል ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ኪዲ፣ ስሚኝ…»

«ግዝት ነው!» አባ እጃቸውን አነሡ።

ሕዝቅኤል ተቀመጠ። ለግዝት ያን ያህል ግድ ያለው ሰው ሆኖ አይደለም፤ ቅድም የተናገረው ነገር አሳፍሮት ነው። አንገቱን ደፍቶ ጣቶቹን ያፍተለትል ጀመር።

«አባ፣ ይፍቱት!» ብዬ ጮህሁ። «በአፍዎ ያሰሩትን በአፍዎ ይፍቱት! ልጅቱ እየጠበቀች ነው እኮ!»

«ሕዝብ ፊት ያሰርሁትን ለልጄ ሲሆን ልፍታው? ነገ ማን ይሰማኛል?» ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። «ግዝቱ ቅጥሩን አያልፍም። ከበሩ ውጭ ሆኜ እነግራታለሁ።»

«አባ፣ ኔትወርኩ!»

አልሰሙኝም። መቋሚያቸውን በአንድ እጅ፣ ስልኩን በሌላው እጅ፣ እንደ ጧፍ ከፍ አድርገው ይዘው ቁልቁል መውረድ ጀመሩ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ድንጋዩን እየመረጡ ነው የሚረግጡት። ተከተልኋቸው። ስልኩን ልቀማቸው እጄን ዘረጋሁ፣ በክርናቸው ገፉኝ። እኔ ደግሞ አባቴን ታግዬ አላውቅም።

«አባ? የት እየሄዱ ነው?» ይላል ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ። «አባ፣ ይሰማዎታል?»

«ቆይ ልጄ፣ ደረስሁ።»

«አባ… አይ… ይሰማ…»

«ደረስሁ አልሁሽ!»

እስከ ዛሬ የማይገባኝ ነገር አለ። አባ በእርግጥ ግዝቱን ፈርተው ነው የሄዱት? ወይስ መልሱን ፈርተው፣ ያን መንገድ ለማሰቢያ ፈልገውት ነው?

በሩን አልፈው፣ ሁለቱንም እግራቸውን ከደፉ ውጭ አድርገው፣ ስልኩን አፋቸው ድረስ አስጠግተው ጮኹ። ድምፃቸው በቅዳሴ ላይ እንኳ እንዲያ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

«ውጪ ልጄ! ውጪ! አሮጊቷን ለፈጠራት ተያት! ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፣ ሰማሽ? ኃጢአቱ በእኔ ይሁን!»

ሐይቁ ዳር የነበሩ ወፎች ተነሥተው በረሩ። አባ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ጠበቁ። ቀስ ብዬ ከእጃቸው ወሰድሁት። ጥሪው ተቋርጧል። መቼ እንደተቋረጠ አላውቅም።

«ማንም የለም አባ» አልኋቸው።

ከዚያ በኋላ ሽቅብ እንዴት እንደሮጥሁ አላስታውስም። ሰንበቴ ቤቱ እንደገባሁ ስልኩ ተንቀጠቀጠ፤ የድምፅ መልእክት ነበር። ከፈትሁት። ሰው ሁሉ ቆሞ ሰማ።

«አባ፣ ድምፅዎ ተቆረጠብኝ። ደጋግሜ ሞከርሁ፣ እንቢ አለኝ። ግድ የለም፣ የሚሉኝን አውቀዋለሁ። ያን ሰውዬ ከበሩ ሲመልሱት ነጠላዎን ይዤ አጠገብዎ ቆሜ ነበር። የሰው እናትም እናት ናት። አልሄድም፣ እቆያለሁ። ይጸልዩልን፤ ሁለት ነን።» ከኋላዋ የአሮጊት ሳል ተሰማ፤ ኪዲ በዐረብኛ አንድ ነገር አለቻት፣ መልእክቱም አለቀ።

አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች። ሕዝቅኤል ስልኩን ከእጄ ነጥቆ ደወለ፤ አይነሳም። እንደገና ደወለ። «ኪዲ ውጪ፣ አባ ውጪ ነው ያሉት፣ በራሳቸው አፍ ብለዋል» እያለ ድምፁን ቀድቶ ላከ፣ ጽፎም ላከ። አልደረሰም። የተላከው ሁሉ ከእኛ ዘንድ ተደርድሮ ቀረ።

ወደ በሩ ተመልሼ ወረድሁ። አባ የተውኋቸው ቦታ ቆመዋል። ኪዲ ያለችውን አንድ ሳላስቀር ነገርኋቸው። ዓይናቸው ደፉ ላይ ነበር።

«ይግቡና በራስዎ ድምፅ ይላኩላት» አልሁ። «የእኛን ላታምን ትችላለች። እርስዎን ግን ታምናለች። ይግቡ አባ፣ ገና አልመሸም።»

«በየትኛው እግሬ፣ ዜማ? የሰው እናት ጥለሽ ውጪ ብዬ?» አሉ።

እጃቸውን ያዝሁ፣ ጎተትሁ፣ አለቀስሁ፣ በመጨረሻም ተቆጣኋቸው። «ልጅዎ ልትሞት ነው፣ እርስዎ የድንጋይ ደፍ ይቆጥራሉ!» አልሁ፤ እንዲህ ያለ ቃል ለአባቴ ተናግሬ አላውቅም። ቀኝ እግራቸውን አነሡ። ደፉ ላይ አደረሱት። እንደተንጠለጠለ ቆየና መልሰው አወረዱት። ከዚያ ከበሩ ውጭ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

ስልኩ ከላይ ካልሆነ አይሠራም፤ ድምፃቸውን ልቀዳበት ባወርደው፣ ያኔ ብትደውልስ? እሳቸው ደፉን አያልፉም። ሕዝቅኤል መስኮቱ ሥር ተንበርክኮ ይደውላል፣ ይልካል፣ ይደውላል። እኔ መካከል ላይ፣ ሁለቱም ከሚሰሙኝ ቦታ ቆምሁ። ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ እየወረደች ነው።

«ደረሰላት?» ይላሉ አባ ከውጭ።

ወደ ላይ እጮሃለሁ። ሕዝቅኤል ራሱን ይነቀንቃል።

«ገና ነው፣ አባ» እላቸዋለሁ።